የቤት ጥገና ሥራ በራሴ ልጀምር ነው፤ ፈቃዱና ኢንሹራንሱ ላይ እርዱኝ

ባለድሪሉ፦
ሰላም ለሁላችሁም። እስካሁን ተቀጥሬ ነው የቤት ጥገና ስሠራ የኖርኩት፤ አሁን በራሴ ልወጣ ነው። ሥራው የምታውቁት ነው። በር ማስተካከል፣ ቁም ሳጥን መግጠም፣ ቲቪ ግድግዳ ላይ መስቀል፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ መቀየር፣ ቀለም፣ አልፎ አልፎ ሴራሚክ። ትልቅ ግንባታ አልነካም። ግራ ያጋባኝ ወረቀቱ ነው። አንዱ «ንግድ ፈቃድ ካወጣህ በቃ» ይለኛል፣ ሌላው «ለእያንዳንዱ ሙያ ለየብቻ ነው» ይላል፣ ሌላው ደግሞ «ለዚህች ሥራ ማን ይጠይቅሃል» ብሎ ይስቅብኛል። አንድ የሕንፃ አስተዳዳሪ ሥራ ሊሰጠኝ ፈልጎ መጀመሪያ የኢንሹራንስ ማስረጃ አምጣ አለኝ። እኔ ኢንሹራንስ የማውቀው የመኪናዬን ብቻ ነው። እስቲ የምታውቁ አስረዱኝ፣ ከየቱ ልጀምር?

መፍቻ ቁጥር 17፦
እንኳን ደስ ያለህ። ሦስት ወረቀት ነው ያለው፣ አታደባልቃቸው። ንግድ ፈቃዱ ነጋዴ መሆንህ እንዲታወቅና ግብር እንድትከፍል ነው፤ የትኛውን ገመድ መንካት እንደምትችል አይነግርህም። የሙያ ፈቃዱ ችሎታህን ነው የሚያየው። እንደ ቦታው ፈተና አለው፣ የሥራ ልምድ ማስረጃ ይጠየቅበታል፣ ቦንድ፣ ማለትም ግዴታህን ካልተወጣህ ደንበኛው የሚካስበት ዋስትና፣ አስይዝ የሚሉም አሉ። ሦስተኛው ለአንተ የሚሰጥ አይደለም፣ ለሥራው ነው፤ ለዚያ ቤት፣ ለዚያ ሥራ፣ ለአንድ ጊዜ። ግድግዳ ስታፈርስ፣ አዲስ የኤሌክትሪክ መስመር ስትዘረጋ፣ ብዙ ቦታ ደግሞ የውሃ ማሞቂያ ስትቀይር እሱን ታወጣለህ፣ ሥራውንም ተቆጣጣሪ መጥቶ ያየዋል።

ጥቃቅን ጥገና ብዙ ቦታ ከሙያ ፈቃድ ነፃ ነው። ግን ነፃ የሚሆነው እስከ የት ነው የሚለውን ነው ሰው የማያነበው። አንዳንዱ ቦታ በገንዘብ ይወሰናል። ለምሳሌ ካሊፎርኒያ ለብዙ ዓመታት ከ500 ዶላር በታች የሆነውን ሥራ ነበር ያለ ኮንትራክተር ፈቃድ ሥሩ የሚለው፤ እ.ኤ.አ. ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ከ1,000 ዶላር በታች ሆኗል። ልብ በል፣ ዕቃውም ጉልበቱም ተደምሮ ነው። ሥራው የግንባታ ፈቃድ የሚጠይቅ ከሆነ ወይም ሠራተኛ ከቀጠርክ ደግሞ ክፍያው ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን ነፃ አትሆንም። አንዱን መታጠቢያ ቤት አራት ደረሰኝ ላይ በትኖ ማምለጥም የለም፣ ሕጉ ቀድሞ አስቦበታል።

ሌላ ቦታ ደግሞ የሚወሰነው በሥራው ዓይነት ነው፣ በተለይ ጋዝና ኤሌክትሪክ ላይ ቀልድ የለም። ብሪታንያ ውስጥ በክፍያ የጋዝ ሥራ ለመሥራት ጋዝ ሴፍ የሚባለው መዝገብ ላይ መግባት ግድ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ አንዲት ሶኬት ለመቀየር እንኳ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሻን ነው የሚፈለገው። ሁሉም ሰው በቤቱ «እኔው እችለዋለሁ» የሚለውን ሥራ ነው እንግዲህ። አንተም የአካባቢህን ደንብ ስታነብ ሁለቱንም ፈልግ፤ የገንዘቡንም፣ የሥራ ዓይነቱንም።

አትጨናነቅ፦
ኧረ ሰውዬውን አታስፈራሩት። መጋረጃ ለመስቀል ነው ይህ ሁሉ ጣጣ? መጀመሪያ ይሥራ፣ ደንበኛ ያፍራ፣ እጁ ላይ ገንዘብ ሲገባ ወረቀቱን ያወጣል። ስንቱ እንዲህ አይደል የጀመረው።

ውል ይቀድማል፦
@አትጨናነቅ እንዲህ ጀምሮ እንዲህ የቀረም አለ እኮ። ተቆጣጣሪ ላይመጣ ይችላል፣ እሱስ እሺ። ደንበኛው ነው የሚያሳስበው። ሥራውን ጨርሰህ «አልከፍልም» ቢልህ የት ትሄዳለህ? ካሊፎርኒያ ከተነሳ አይቀር፣ እዚያ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ያለ ፈቃድ የሠራ ሰው ፍርድ ቤት ሄዶ ሒሳቡን መጠየቅ አይችልም። ይባስ ብሎ ደንበኛው የከፈለውን ሙሉውን ከስሶ ማስመለስ ይችላል፣ ሥራው አንድ እንከን ባይወጣለትም። ዕቃውን በኪስህ ገዝተህ፣ ወገብህ እስኪቆረጥ ሠርተህ፣ «መልስ» ስትባል አስበው። ሌሎች ብዙ ቦታዎችም ሕጋቸው ይህን ያህል ባይጨክንም ያለ ፈቃድ ሠርቶ ክፍያ መከራከር ከባድ ነው።

መጋረጃውን ይስቀል፣ ማንም አልከለከለውም። ግን መጋረጃ የሰቀልክለት ሰው በሁለተኛው ቀን «እግረ መንገድህን ይህችን ብሬከር እያት» ይልሃል። ነገር የሚመጣው በእሷ ነው።

የካሳ ክፍሏ፦
ኢንሹራንስ ውስጥ የካሳ ጥያቄ የማየው እኔ ነኝና እሱን ለኔ ተዉት፣ ትንሽ ይረዝማል።

አስተዳዳሪው የጠየቀህ የሦስተኛ ወገን ኃላፊነት ኢንሹራንስ ነው። በሥራህ ምክንያት በሌላ ሰው ላይ ወይም በሌላ ሰው ንብረት ላይ ጉዳት ስታደርስ የሚከፍል ማለት ነው። መሰላልህ ተንሸራቶ የጎረቤቱን መኪና መስታወት ቢያወርደው፣ የቤቱ እናት በድሪልህ ገመድ ተጠልፈው ቢወድቁ፣ ያኔ ነው የሚጠራው። የአንተን ድሪል አይከፍልም፣ የአንተንም እጅ አያሳክምም። ለመሣሪያህና ለራስህ የአካል ጉዳት ሌላ ሌላ ሽፋን አለ።

ሰው የሚናደድብኝ ቀጥሎ ባለው ላይ ነው። ፖሊሲው፣ ማለትም የኢንሹራንስ ውሉ፣ የሥራህን ጥራት አይዋስም። ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለችውን ተጣጣፊ ቱቦ ቀየርክ እንበል። ጫፏ ላይ ያለችው ጎማ ተጣማ ገባች፣ አንተ ግን በመፍቻ አጥብቀህ ውሃውን ከፍተህ ደረቅ መሆኑን አይተህ ወጣህ። ሌሊት ግፊቱ ሲጨምር ጠብ ጠብ ማለት ጀመረች። ጠዋት የካቢኔቱ ወለል እንደ ዳቦ ተነፍቷል፣ ፓርኬው ተነስቷል፣ ታች ያለው ቤት ኮርኒስ ላይ ቡናማ ክብ ወጥቷል። ፓርኬውና ኮርኒሱ አብዛኛውን ጊዜ ይከፈላሉ። ቱቦዋን መልሶ መግጠም ግን የአንተ ዕዳ ነው፤ እሱንም ክፈሉልኝ ብለህ ብትመጣ አይሆንም እልሃለሁ። ከሚከፈለውም ላይ ደግሞ የመጀመሪያዋን ድርሻ ከኪስህ ትሸፍናለህ። አረቦኑ (ለኢንሹራንሱ የምትከፍለው) ረከሰልኝ ብለህ ይህችን ድርሻ ከፍ አድርገህ ከፈረምክ፣ ትንንሾቹ ጉዳቶች ሁሉ አንተው ላይ ይቀራሉ፤ በእናንተ ሥራ ደግሞ የሚበዙት ትንንሾቹ ናቸው።

ስትገዛ ወኪሉ የሚሞላልህን የሥራ ዝርዝር ራስህ አንብበው። «ቀለምና አናጢነት» ተብሎ ተሞልቶ አንተ ጣሪያ ላይ ወጥተህ ጉዳት ቢደርስ ጠብ ነው። ከፍታ የሚገድቡ ፖሊሲዎች አሉ። እሳት ወይም ሙቀት ያለበትን ሥራ፣ ብየዳውን፣ የቧንቧ ማሞቂያ ችቦውን፣ ቀለም መላጫ ሙቅ አየሩን ጭምር፣ የማይሸፍኑ አሉ፤ ሸፍነውም «ከጨረስክ በኋላ ይህን ያህል ደቂቃ ቆመህ ጠብቅ» የሚሉ አሉ። እና ከላይ ወንድሞቼ ስለ ፈቃድ ያሉትን ከዚህ ጋር አያይዘው። የሙያ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ያለ ፈቃድ ሠርተህ ቤቱ ቢቃጠል፣ ኩባንያው መጀመሪያ የሚመዘው ያንን ነው። ስለዚህ ኢንሹራንስ ስላለኝ ፈቃዱ ይቆየኝ አይባልም።

ደግሞ ክረምት ላይ ሥራ ሲቀዘቅዝ ፖሊሲውን አታቋርጥ። ዛሬ የሰቀልከው መደርደሪያ የሚወድቀው መቼ እንደሆነ አታውቅም፤ በወደቀበት ቀን ሽፋን ከሌለህ የለህም።

የመኪናህም ነገር፣ የግል ብለህ ያስገባኸው መኪና ላይ መሰላል ጭነህ ከደንበኛ ደንበኛ ስትዞር ለንግድ እየዋለ ነው። ለኩባንያህ ንገር። መኪናው ውስጥ የተሰረቀ መሣሪያም ብዙውን ጊዜ በመኪናው ኢንሹራንስ አይካተትም።

ባለድሪሉ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ እንዲህ ተብሎ ተነግሮኝ አያውቅም። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። አንዳንዴ ከባድ ዕቃ ሲኖር አንድ ልጅ በቀን እየከፈልኩ አመጣለሁ። ቋሚ አይደለም። እሱም ይቆጠራል?

የካሳ ክፍሏ፦
ይቆጠራል። የሦስተኛ ወገኑ ፖሊሲ የራስህን ሠራተኛ አይሸፍንም፣ ልጁ ከመሰላል ቢወድቅ በእሱ አይታከምም። ለሠራተኛ የሚገባው ለብቻው ነው፣ ብዙ አገር ደግሞ በሕግ ግዴታ ነው። ብሪታንያን ብታይ ለደንበኛው ጉዳት የሚሆነውን ኢንሹራንስ ሕጉ ግድ አይልህም፤ ሠራተኛ ካለህ ግን በ1969 የወጣው ሕግ ቢያንስ የ5 ሚሊዮን ፓውንድ ሽፋን ያስገድድሃል፣ ያለ እሱ ለምትሠራበት ለእያንዳንዱ ቀን እስከ 2,500 ፓውንድ ያስቀጣል። «በቀን ነው የምከፍለው፣ የራሱ ሰው ነው» የሚለው መከራከሪያም ብዙ አያስኬድም። መጥረጊያውንም መዶሻውንም አንተ እየሰጠኸው፣ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ አንተ እየነገርከው፣ የራሱ ነጋዴ ነው ብትል ማን ያምንሃል?

ልጁ በእውነት የራሱ ሥራ ያለው ባለሙያ ከሆነ ደግሞ የራሱን የኢንሹራንስ ማስረጃ ተቀበለውና ፋይል አድርግ።

መፍቻ ቁጥር 17፦
አንድ የረሳሁት። የቆየ ቤት ስትገባ ቀለም ከመፋቅህና ኮርኒስ ከመብሳትህ በፊት የተሠራበትን ዘመን ጠይቅ። አሜሪካ ውስጥ ከ1978 በፊት የተሠራ መኖሪያ ቤት ላይ በክፍያ የምትሠራ ከሆነና በአንድ ክፍል ውስጥ ከ6 ስኩዌር ፊት በላይ፣ በውጭ በኩል ደግሞ ከ20 በላይ ቀለም የምትነካ ከሆነ፣ ቀለሙ እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) እንደሌለበት ካልተረጋገጠ በቀር፣ የእርሳስ ቀለም ሥልጠናና የምስክር ወረቀት ያስፈልግሃል። 6 ስኩዌር ፊት ግማሽ ካሬ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው፣ አንድ የመስኮት ዙሪያ ልትለው ትችላለህ። አስቤስቶስም፣ ድሮ ለግንባታ ይውል የነበረው አቧራው ሳንባ የሚጎዳ ነገር፣ እንዲሁ፤ ብሪታንያ ጨርሳ የከለከለችው በ1999 ነው፣ ስለዚህ ከዚያ በፊት የተሠራ ቤት ኮርኒስ ላይ ድሪል ከማስገባትህ በፊት ይጣራ። አቧራው የሚገባው ደግሞ መጀመሪያ አንተ ሳንባ ውስጥ ነው። ይህን ዓይነት ብክለት ተራው የኃላፊነት ፖሊሲ ብዙውን ጊዜ አይሸፍንም፣ እህታችን ታርመኝ።

የካሳ ክፍሏ፦
ልክ ነህ፣ ከማይሸፈኑት ዝርዝር ውስጥ ነው አብዛኛውን ጊዜ የማገኘው።

አትጨናነቅ፦
እሺ በቃ ተረታሁ። ግን ይህ ሁሉ ወጪ ደንበኛው ላይ ነው የሚጨመረው፣ እሱንም ንገሩት። ያለ ወረቀት የሚሠራው ጎረቤቱ በግማሽ ዋጋ እየሠራ እሱ ምን ሊበላ ነው?

ውል ይቀድማል፦
ከጎረቤቱ ጋር ምን አሽቀዳደመው? የሕንፃ አስተዳዳሪዎች፣ የአከራይ ድርጅቶች፣ ቢሮዎች ማስረጃ የሌለውን ሰው በሩን አያስገቡትም፣ ጎረቤቱ እዚያ የለም። የአረቦኑንና የፈቃዱን የዓመት ወጪ በምትሠራባቸው ቀናት አካፍልና በቀን ሒሳብህ ውስጥ አስገባው፤ ለብቻው «የኢንሹራንስ» ብለህ ደረሰኝ ላይ አትጻፍ፣ ክርክር ትከፍታለህ። ከሥራ በፊት ፎቶ አንሳ። የማትሠራውንም ውሉ ላይ ጻፈው፣ «ኤሌክትሪክና ጋዝ አይጨምርም» ብለህ፤ የዚያ «እግረ መንገድህን» መልስ እሱ ነው።

ባለድሪሉ፦
ለአስተዳዳሪው አሁን ምን ልላክለት? ፖሊሲውን ሙሉውን ነው?

የካሳ ክፍሏ፦
አይ፣ አንድ ገጽ ማስረጃ አለ፣ ኩባንያህ ያወጣልሃል። ስምህ፣ የሽፋኑ ጣሪያ (ኩባንያው ቢበዛ የሚከፍለው መጠን)፣ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለበት። ከመክፈልህ በፊት አስተዳዳሪውን ሁለት ነገር ጠይቀው። የሽፋኑ ጣሪያ ቢያንስ ስንት እንዲሆን ይፈልጋል፣ የሕንፃውስ ባለቤት ስም ፖሊሲው ውስጥ ተጨማሪ ተሸፋኝ ሆኖ፣ ማለትም ፖሊሲው እሱንም እንዲሸፍን፣ እንዲገባ ይፈልጋል ወይ? ፖሊሲውን ገዝተህ ከጨረስክ በኋላ ጣሪያው አነሰ ቢልህ ማስተካከያው እንደገና ያስከፍልሃል። ማስረጃውንም ከኩባንያው በቀጥታ ቢላክለት ይመርጣል፣ የተቆራረጠና የተለጣጠፈ ስንት አይተናል።

ባለድሪሉ፦
ነገ ጠዋት እደውልለታለሁ። የሚለኝን እዚሁ እጽፋለሁ።