ለአነስተኛ ኃይል የትኛውን ሬዲዮ ልግዛ?

የምኖረው ፒያሳ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አማተር ሬዲዮ (በትርፍ ጊዜ ከሌሎች አማተሮች ጋር በሬዲዮ መገናኘት) የምሠራው በያሱ ኤፍቲ-817 ነበር፤ 5 ዋት የምታወጣ ትንሽ ሬዲዮ። ባለፈው ወር የማስተላለፊያ ትራንዚስተሮቿ ተቃጠሉ። አሁን ትሰማለች እንጂ አታስተላልፍም። ጥገና ቤት ወሰድኳት፣ መለዋወጫ የለም ተባልኩ።

አንቴናዬ ከበረንዳው እስከ ውሃ ታንከሩ የተዘረጋ 10 ሜትር ሽቦ ነው። በ14 ሜጋኸርዝ፣ በሞርስ (በአጭርና ረጅም ድምፅ በሚላክ ኮድ) ነው የምሠራው። ትልቁ ችግሬ ከኤሌክትሪክ ዕቃዎች ሬዲዮው ውስጥ የሚገባው ጩኸት ነው። ሲመሽ የጎረቤቱ ኤልኢዲ አምፖልና ቻርጀር ሁሉ ሲሰካ የሬዲዮው የምልክት ጥንካሬ መለኪያ ኤስ7 ላይ ይቆማል፤ ደካማ ምልክት የሚሸፍን ጩኸት ነው። መብራት ሲጠፋ ግን ባንዱ (የምሰማበት የሞገድ ክልል) በአንዴ ጭር ይላል። ከጩኸቱ ሥር ተቀብረው የነበሩ ደካማ ምልክቶች አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ። ያቺን ሰዓት በጣም እወዳታለሁ። ስለዚህ አዲሱ ሬዲዮ በባትሪ ብዙ ሰዓት መቆየት አለበት፤ ያለኝ ባለ 12 ቮልት፣ 6 አምፔር ሰዓት ሊትየም ነው።

ዢጉ ጂ90ን አይቼ ተውኩት። 20 ዋትና የራሱ ቲውነር (አንቴናውን ከሬዲዮው ጋር የሚያስማማ ክፍል) አለው፤ ዝም ብሎ ሲሰማ ግን ግማሽ አምፔር ያህል ይበላል። የቀሩኝ ሁለት ናቸው። አይኮም አይሲ-705 በራሱ ባትሪ 5፣ በውጭ ባትሪ 10 ዋት ያወጣል፤ ስክሪኑም ጩኸቱ የት እንዳለ ያሳያል። ቲውነር ግን ውስጡ የለውም። ኤሌክራፍት ኬኤክስ2 ባትሪ ይቆጥባል፣ ቲውነርም ውስጡ ይገጠምለታል።

ዘመዴ በቅርቡ ከአሜሪካ ይመጣል፤ የማስመጣው አንዱን ብቻ ነው። ሁለቱንም የሞከራችሁ፣ እንዲህ ባለ የከተማ ጩኸት ውስጥ ደካማ ሞርስ ለይቶ የሚያሰማኝ የቱ ነው?