ደንበኛ ዋሌቴ ውስጥ ያለውን ሁሉ እንዳያይብኝ ምን ላድርግ?

ቀለሙ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ደንበኞች በቢትኮይን ይከፍሉኛል፤ ሦስቱም የሚልኩት በአንድ አድራሻ ነው። አድራሻውን ብሎክ ኤክስፕሎረር (ዝውውሮችን ለማንም የሚያሳይ ድረ ገጽ) ላይ ያስገባ ሰው ሌሎቹ ስንት እንደከፈሉኝ፣ መቼ እንዳወጣሁና ስንት እንደቀረኝ ሁሉንም ያነባል። እዚያው ዋሌት ውስጥ፣ በሌላ አድራሻ፣ መታወቂያዬን ካስገባሁበት ኤክስቼንጅ የገዛሁትም አለ። ገቢዬን አሳውቃለሁ፣ ግብርም እከፍላለሁ። የምፈልገው አንዱ ደንበኛ የሌላውን ዋጋ እንዳያውቅና ማንም ያለኝን እንዳይቆጥርብኝ ነው። ያሰብኩት አዲስ ዋሌት ከፍቼ ሁሉንም ባንዴ ማዛወርና ከዚያ ወዲያ በቪፒኤን ብቻ መጠቀም ነው። ይበቃል?

ሰብለ፦

አይበቃም። «ሁሉንም ባንዴ» ያልከው እንዲያውም ነገሩን ያባብሰዋል።

ዋሌትህ አንድ ድምር ቢያሳይህም ውስጡ ያለው በተለያየ ጊዜ የገቡ የተለያዩ ሳንቲሞች ስብስብ ነው። በሙያው ስማቸው ዩቲኤክስኦ ይባላል። እያንዳንዱ ከየት እንደመጣ ታሪኩን ይዞ ይዞራል። ሁለት ሳንቲሞች በአንድ ትራንዛክሽን አብረው ሲወጡ ተመልካቹ «የሁለቱም ቁልፍ ያለው አንድ ሰው ጋ ነው» ብሎ ይይዛል። የቢትኮይን ፈጣሪ ሳቶሺ ናካሞቶ ራሱ በ2008 ባወጣው ጽሑፍ ይህን ዓይነቱን መያያዝ ማስቀረት እንደማይቻል ጽፏል። አንተ ሁሉንም ባንዴ ስታዛውር ስምህን የሚያውቀው የኤክስቼንጅ ሳንቲም ከደንበኞቹ ክፍያ ጋር በአንድ መስመር ይታሰራል።

በቁጥር እንየው። ከደንበኛ ሀ 0.05፣ ከኤክስቼንጅ 0.03 ቢትኮይን አለህ እንበል። 0.06 ልትከፍል ስትል ዋሌቱ ሳይጠይቅህ ሁለቱንም ያነሳል፤ ድምሩ 0.08። ሁለት መግቢያ (የሚነሱት ሳንቲሞች) እና ሁለት መውጫ (የሚፈጠሩት አዲሶቹ) ያለው፣ ሴግዊት በሚባለው ዓይነት የተሠራ ትራንዛክሽን መጠኑ 208 ቨርቹዋል ባይት ገደማ ነው፤ በባይት 10 ሳቶሺ ብትከፍል የኔትወርክ ክፍያው 2080 ሳቶሺ፣ ማለትም 0.0000208 ቢትኮይን ይሆናል። ስለዚህ 0.06 ለተቀባዩ ይሄዳል፣ 0.0199792 ደግሞ መልስ ሆኖ ወዳንተ አዲስ አድራሻ ይመለሳል። አሁን ከውጭ ሆነህ አንብበው። 0.06 ሰዎች የሚስማሙበት ዓይነት ድፍን ዋጋ ነው፤ ስለዚህ 0.0199792 መልሱ መሆኑ ያስታውቃል። ድፍን ባይሆን እንኳ ክፍያው 0.0199792 ቢሆን ኖሮ የ0.03ቱ ሳንቲም ብቻውን ይበቃ ነበር፤ ታዲያ ሁለተኛው ለምን ተነሳ? ተንታኙ በዚህ ብቻ መልሱን ይለየዋል። ውጤቱ ይህ ነው፦ ደንበኛ ሀ የላከልህን 0.05 ተከትሎ ሌላ 0.03 እንደነበረህ አወቀ። ኤክስቼንጁ ስምህን ይዞ የደንበኛ ሀን ክፍያ አየ። የከፈልከው ሰው ደግሞ መልስህ የተቀመጠበትን አድራሻ ያዘ፤ መልሱን መቼና ከምን ጋር እንደምታወጣው ከዚህ በኋላ መከታተል ይችላል።

ስለዚህ ሳንቲም የሚያስመርጥ፣ ማለትም ኮይን ኮንትሮል ያለው ዋሌት ያዝ፤ ስፓሮው ወይም ኤሌክትረም ይሆንሃል። ሳንቲም በገባ ቁጥር ወዲያው ሌብል ጻፍበት፤ ከማን እንደመጣ ብቻ ሳይሆን ማን እንደሚያውቀውም ጭምር። ለደንበኞች አንድ አካውንት፣ ለኤክስቼንጁ ሌላ አካውንት ክፈት፤ በአንድ ሲድ (ዋሌቱን በሚመልሱት ቃላት) ስር ቢሆኑም ዋሌቱ በራሱ አያቀላቅላቸውም። ስትከፍል ሳንቲሙን ራስህ ምረጥ፤ በተቻለ መጠን ለክፍያው ብቻውን የሚበቃ አንድ ሳንቲም ይሁን። ሳትቀላቅል መክፈል ካልቻልክ ለተቀባዩ በሁለት የተለያዩ ትራንዛክሽኖች፣ በሁለት የተለያዩ አድራሻዎች ላክለት። የኔትወርክ ክፍያው ትንሽ ይጨምራል፤ ለእኔ ያዋጣል።

በዚያ አንድ አድራሻ የገቡት እርስ በርስ አንዴ ተያይዘዋል፣ የሚፈታቸው የለም። ለብቻቸው አስቀምጣቸውና ቢታዩ ለማይጎዳህ ወጪ አውላቸው። ሳታውቀው 546 ሳቶሺ የምታህል ብጣሽ ከገባችልህ ደግሞ አትንካት፤ ከሌሎች ጋር አብረህ እንድታወጣት ተብላ የተላከች ልትሆን ትችላለች። ሁለቱም ዋሌቶች ሳንቲም ማገጃ አላቸው፣ እገዳትና እርሳት።

ኖድ_ጠባቂ፦

ሰብለ የሰንሰለቱን፣ ማለትም ሁሉም የሚያየውን የብሎክቼይን መዝገብ፣ ነግራሃለች። ከሰንሰለቱ ውጭ የሚያፈስብህ ደግሞ ዋሌትህ የሚያናግረው ሰርቨር ነው።

ቀላል ዋሌት፣ ማለትም ሰንሰለቱን ራሱ የማያወርድ፣ ብዙውን ጊዜ ቀሪህን ለማወቅ የሆነ ሰርቨር ይጠይቃል። የኤሌክትረም ዓይነቱ ያሉህን አድራሻዎች፣ ገና ያልተጠቀምክባቸውን ጨምሮ፣ በአንድ ግንኙነት ደርድሮ ይጠይቃል። ሰብለ እንዳለችው ሳንቲሞችህን ብትለያያቸው እንኳ የሰርቨሩ ባለቤት አንድ ላይ ተደርድረው ያያቸዋል። ቪፒኤን እዚህ የሚለውጠው የአይፒ አድራሻህን ብቻ ነው፤ ያውም ኢንተርኔት አቅራቢህ ያውቅ የነበረውን አሁን የቪፒኤኑ ድርጅት ያውቃል። የአድራሻዎቹ ዝርዝር እንዳለ ሰርቨሩ ጋ ይደርሳል። ግንኙነትን በብዙ ኮምፒውተሮች የሚያዞረው ቶርም ቢሆን አይፒህን ይደብቃል እንጂ ዝርዝሩን አይበትነውም።

ሁነኛው መፍትሔ የራስህ ኖድ፣ ማለትም ሰንሰለቱን ራሱ አውርዶ የሚያጣራ ፕሮግራም፣ ነው። ቢትኮይን ኮር ጫን። ሙሉው ሰንሰለት ከ600 ጊጋባይት በላይ ነው፤ ቦታ ከሌለህ ፕሩን የሚለውን አብራ። የብሎክ ፋይሎቹን እስከ 550 ሜጋባይት ድረስ ያሳንሳቸዋል፤ ያልወጡ ሳንቲሞች መዝገብ ግን ለብቻው ከ10 ጊጋባይት በላይ ስለሚይዝ ዲስክህን ስታስብ እሱንም ቁጠር። ፕሩን ቢሆንም መጀመሪያ ሙሉውን ሰንሰለት አውርዶ ማጣራቱ አይቀርም፤ የኢንተርኔት ጥቅልህ የተወሰነ ከሆነ ይህን አስበህ ግባ። ስፓሮው ከቢትኮይን ኮር ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ሰዎች የሚሰናከሉባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ፕሩን በሆነ ኖድ ላይ የቆየ ሲድ ስታስገባ የድሮዎቹ ብሎኮች ተጥለዋልና ታሪኩን መልሶ መፈተሽ አይችልም፤ ሰንሰለቱን እንደገና ማውረድ ይመጣል። ስለዚህ ዋሌቱን ከኖዱ ጋር አስቀድመህ አገናኝ። ሁለተኛ፣ ኤሌክትርስ የሚባለውን ሰርቨር ከላዩ ለመጫን ካሰብክ ፕሩን በሆነ ኖድ ላይ አይሠራም፣ ሙሉ ሰንሰለት ይፈልጋል።

ቶርን ስታስተካክል ፖርቱን ልብ በል። ራሱን ችሎ የተጫነ ቶር 9050 ላይ ነው፣ ከቶር ብራውዘር ጋር የሚነሳው 9150 ላይ። «አልገናኝም» ካለህ መጀመሪያ የምታየው ይህን ነው።

ሌላው ክፉ ልማድ የራስን ትራንዛክሽን ደርሷል አልደረሰም እያሉ በአደባባይ ኤክስፕሎረር ላይ መፈለግ ነው። ገና ሁለት ደቂቃ ያልሞላው ትራንዛክሽን ከአንድ አይፒ ሦስት ጊዜ ሲፈለግ ባለቤቱ ማን እንደሆነ መገመት አያቅትም። ራስህ ዋሌት ላይ ተመልከት።

ሃርድዌር ዋሌት ካለህ ደግሞ ከአምራቹ ጋር የሚመጣው መተግበሪያ ሳትለውጠው የአምራቹን ሰርቨር ያናግራል፤ መሣሪያውን ከስፓሮው ጋር ተጠቀምበት። ስትገዛም ለማድረስ የግድ የሚያስፈልገውን መረጃ ብቻ ስጥ፣ ኢሜይሉም ለዚያ ብቻ የተከፈተ ይሁን። በ2020 ከሌጀር የሾለከው የደንበኞች መረጃ የ272,000 ያህል ሰዎችን ስም፣ የቤት አድራሻና ስልክ የያዘ ነበር። ቁልፎቹ አልተነኩም፤ ባለቤቶቹ ግን ለማጭበርበርና ለማስፈራሪያ መልእክት ተጋለጡ።

ፍጹም21፦

ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? ሞኔሮ የሚባለውን፣ ዝውውሩን የሚደብቀውን ክሪፕቶ ተቀበልና ተገላገል።

ሀብተ_ም፦

ሞኔሮ መሠረቱ የተሻለ መሆኑ እውነት ነው። ከ2017 ጀምሮ መጠኑ ይደበቃል፤ ከነሐሴ 2022 ወዲህ እያንዳንዱ መግቢያ 16 አባላት ባሉት ቀለበት ውስጥ ተደብቆ ይወጣል፣ 15ቱ ማሳሳቻ ናቸው፤ ተቀባዩም ለእያንዳንዱ ክፍያ የአንድ ጊዜ አድራሻ ያገኛል። ቀለሙ የፈራው ነገር፣ ደንበኛ አድራሻ አስገብቶ ቀሪ ማየቱ፣ እዚያ የለም። ለእያንዳንዱ ደንበኛ ሰብአድሬስ (ከዚያው ዋሌት የሚወጣ ተጨማሪ አድራሻ) ስጥ፤ በ8 ይጀምራል፣ በ4 የሚጀምረው ዋናው ነው።

ሰው የሚጋለጠው መግቢያውና መውጫው ላይ ነው። ከኤክስቼንጅ 3.217 ሞኔሮ አውጥቶ ከአንድ ሰዓት በኋላ 3.21 የሚያህል ሌላ ቦታ በቢትኮይን የሚለውጥ ሰው፣ መሃሉ ቢጨልምም በመጠኑና በሰዓቱ ይታወቃል። ጊዜ ይለፈው፣ መጠኑም ይለያይ። የገባ ገንዘብ ለ10 ብሎክ ይቆለፋል፣ 20 ደቂቃ ገደማ ማለት ነው፤ ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ «ገንዘቤ ጠፋ» ይላል፤ አልጠፋም።

የሰው ኖድ ብትጠቀም መጠንህንም ቁልፍህንም አያይም፣ አይፒህንና የላክህበትን ሰዓት ግን ያያል። የከፋው የቪው ኪ ቁልፍህን ለሰርቨር የሚሰጥ ቀላል ዋሌት ነው፤ ያ ሰርቨር ወደ አንተ የገባውን ሁሉ ያነባል። ደግሞም መሸጫው እየጠበበ ነው፤ ባይናንስ የተባለው ኤክስቼንጅ በየካቲት 2024 ሞኔሮን ከገበያው አውጥቶታል። ደንበኛህ የት እንደሚገዛው አስቀድመህ ጠይቀው።

ቀለሙ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛው ደንበኛ ዩኤስዲቲ (ከዶላር ጋር የተያያዘ ቶከን) በኢቴሪየም ልላክ እያለ ነው፤ ሳንቲም መምረጡ እዚያም ይሠራል? ኮይንጆይን የሚሉትስ?

ሰብለ፦

ኢቴሪየም ላይ የሚመረጥ ሳንቲም የለም፤ አንድ አድራሻ እንደ አንድ የተከፈተ ደብተር ነው። የገባው፣ የወጣው፣ የያዝከው ቶከን ሁሉ አንድ ገጽ ላይ ይታያል። ስለዚህ መለየት የምትችለው አድራሻውን በመለየት ብቻ ነው፤ ለእያንዳንዱ ደንበኛ የራሱ አድራሻ።

እዚህ ላይ ሰው የሚወድቅበት የታወቀ ጉድጓድ አለ። አዲሱ አድራሻ ዩኤስዲቲ ተቀብሎ መልሶ ለመላክ ለጋዝ (ለኔትወርክ ክፍያ) የኢቴሪየሙ ገንዘብ ኢተር ያስፈልገዋል፤ ባዶ ስለሆነ ከድሮው አድራሻ ጥቂት ኢተር ይልኩለታል፤ በዚያች አንዲት ዝውውር ሁለቱ ለዘላለም ይታሰራሉ። ጋዙን ከኤክስቼንጅ በቀጥታ ወደ አዲሱ አድራሻ አውጣ። ኤክስቼንጁ ያውቃል፣ እሱ አይቀርም፤ ደንበኛህ ግን ከኤክስቼንጁ የጋራ አድራሻ እንደወጣ እንጂ ከዚያ ወዲያ አያይም። ሲጨርሱ ሁሉንም አድራሻ ወደ አንድ ማጠራቀሚያ መጥረግም ያው ስህተት ነው። በስምህ ወይም በቅጽል ስምህ የተመዘገበ የኢኤንኤስ ስም (በኢቴሪየም አድራሻ ፋንታ የሚጻፍ ስም) ካለህ ክፍያ ከምትቀበልበት አድራሻ ጋር አታገናኘው። ሜታማስክ የተባለው ዋሌት ሳትለውጠው በኢንፉራ ሰርቨሮች በኩል ይጠይቃል፤ አድራሻዎችህን በአንድ መተግበሪያ ካስቀመጥካቸው ከአንድ አይፒ የተጠየቁ ሆነው ይታያሉ፣ ኖድ_ጠባቂ ያነሳው ችግር እዚህም አለ።

ከትራንዛክሽን ታሪክ ላይ አድራሻ ኮፒ አታድርግ። አጭበርባሪዎች የመጀመሪያና የመጨረሻ ፊደሎቹ ከምታውቀው አድራሻ ጋር የሚመሳሰል አድራሻ ሠርተው ዜሮ መጠን ይልኩልሃል፤ ታሪክህ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቅሃል። መሃሉንም አንብብ።

ኮይንጆይን ብዙ ሰዎች እኩል መጠን ያላቸው መውጫዎች ያሉት አንድ ትራንዛክሽን አብረው የሚሠሩበት መንገድ ነው፤ የትኛው መውጫ የማን እንደሆነ መለየት ይቸግራል። ላንተ ጉዳይ ይበዛል ባይ ነኝ። የተቀላቀለ ሳንቲም የሚያግዱ ኤክስቼንጆች አሉ፤ ኮይንጆይን ያቀርብ የነበረው የሳሙራይ ዋሌት መሥራቾች በሚያዝያ 2024 ታስረዋል፤ ሌላው የኮይንጆይን ዋሌት የዋሳቢ ዋና አስተባባሪም በዚያው ዓመት በሰኔ መጀመሪያ ሥራውን አቁሟል። ሕጉ ከአገር አገር ስለሚለያይ ያንተን አገር ሕግ ሳታይ አትግባበት። ከገባህም በኋላ የተቀላቀሉትን መውጫዎች መልሰህ አብረህ ካወጣሃቸው የለፋኸው ሁሉ ይፈርሳል።

ኖድ_ጠባቂ፦

ስለ አከፋፈሉ ልጨምር። ለእያንዳንዱ ክፍያ አዲስ አድራሻ ስጥ፤ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ብቻ ከሆነ ያ ደንበኛ የራሱን ክፍያዎች መቼ እንደምታወጣቸው በአንድ ገጽ ያያል። ኤክስፐብህን (የዋሌትህ አድራሻዎች የሚወጡበትን የሕዝብ ቁልፍ) ግን ለማንም አትስጥ፤ ያለፈውንም የሚመጣውንም አድራሻህን ሁሉ ያሳያል። ክፍያው ሲበዛ ቢቲሲፔይ ሰርቨር የተባለውን የክፍያ መቀበያ ፕሮግራም በራስህ ማሽን ላይ ጫን፤ ለእያንዳንዱ ደረሰኝ አዲስ አድራሻ ራሱ ያወጣል።

እዚህ ላይ የ20ዋን ወሰን አስታውስ። ብዙ ዋሌቶች ከሲድ ሲመለሱ በተከታታይ 20 ባዶ አድራሻ ካገኙ ፍለጋውን ያቆማሉ። 25 አድራሻ በትነህ የተከፈለው 25ኛው ብቻ ከሆነ፣ ዋሌቱን ስትመልስ ገንዘቡ አይታይም። ሰንሰለቱ ላይ አለ፤ ቅንብሩ ውስጥ ገብተህ የጋፕ ሊሚቱን ወደ 100 ስታሳድገው ብቅ ይላል።

ሌብሎችህን ከስፓሮው በፋይል አውጥተህ በይለፍ ቃል ቆልፈህ አስቀምጥ። ሲድ ሌብል አይመልስም፤ ለግብር ስትጠየቅም የምታቀርበው ማስረጃ ያው ነው። በግልጽ ጎግል ድራይቭ ላይ ከጣልከው ግን የለያየኸውን ሁሉ በስም ጽፈህ አስረከብክ ማለት ነው።

አሮጌውን አድራሻ መዝጋት አይቻልም፣ ዘላለም ይቀበላል። ለሦስቱም ደንበኞች አዲሱን ዛሬውኑ ላክላቸው፣ የተቀመጠውንም እንዲያጠፉት ንገራቸው። አንዱ ረስቶ በአሮጌው ቢልክ ሳንቲሙን ሌብል አድርገህ ከአሮጌዎቹ ጋር ለብቻው አቆየው እንጂ ከአዲሶቹ ጋር እንዳታወጣው።