የድሮው ሙድል ሊዘጋ ነው፣ የ7 ዓመት ኮርሴን እንዴት ላሻግር?

የባዮሎጂ መምህርት፣ ባሕር ዳር

ሰላም ለሁላችሁ፣ እስቲ መላ በሉኝ። የማስተምርበት ኮሌጅ የድሮውን ሙድል (ኮርሳችንን በኢንተርኔት የምናስቀምጥበትን ሲስተም) በሰኔ መጨረሻ ሊዘጋው ነው። አዲሱም ሙድል ነው፣ ግን ሌላ ሰርቨር ላይ ያለ አዲስ ቨርዥን። የተነገረን "ኮርሳችሁን ራሳችሁ አሻግሩ" ብቻ ነው። ስልጠና የለም፣ የሚጠየቅ ሰውም አልተመደበም።

7 ዓመት ያጠራቀምኩት ነገር አለ። ሃንድአውት፣ ስላይድ፣ 240 የክዊዝ ጥያቄ፣ 14 ቪዲዮ። ከሁሉ በላይ የምሳሳላቸው ግን የእምቦጭ ፎቶዎቼ ናቸው። በየዓመቱ ተማሪ ይዤ በፎገራ በኩል ወደ ጣና ዳርቻ ስወርድ ያነሳኋቸው ናቸው። አንዱ ላይ የቅጠሉን ዘንግ በምላጭ ለሁለት ሰንጥቀነው ውስጡ በአየር የተሞላ፣ ልክ እንደ ስፖንጅ መሆኑ ይታያል። ተማሪ "ለምንድን ነው የማይሰምጠው?" ብሎ ሲጠይቀኝ የምከፍትለት እሱን ነው። ከስሩ ማብራሪያ ጽፌበታለሁ፣ ከክዊዙም ጋር አያይዤዋለሁ። ፎቶው ብቻ ተሻግሮ ማብራሪያውና ጥያቄው ከቀሩ ምን ይረባኛል?

ትናንት ባክአፕ አድርጌ ሞከርኩ። ፋይሉ 1.9 ጊጋ ሆነ። አዲሱ ላይ ስጭነው ገና ሳያልቅ መብራት ጠፋ። ማታ ደገምኩት፣ አሁን ደግሞ ፋይሉ ከተፈቀደው በላይ ነው ብሎ መለሰልኝ። አንድ በአንድ እያወረድኩ ልጫን ወይስ ሌላ መንገድ አለ? የተማሪዎቼ ውጤትስ ምን ይሆናል?

የአይሲቲ ሰራተኛ

እህቴ፣ እባክሽ አንድ በአንድ እንዳትጀምሪው። እንደዛ ካደረግሽ የምትፈሪው ነገር ነው የሚደርሰው። ፋይሉ ይሻገራል፣ ማብራሪያውና ክዊዙ ይቀራል። ባክአፑ ግን ሁሉንም እንደተያያዘ ይዞ ነው የሚሄድ። ከድሮ ቨርዥን ወደ አዲስ ሪስቶር ማድረግም (ባክአፑን መልሶ መጫን ማለት ነው) ችግር የለውም፣ የሚያስቸግረው ከአዲስ ወደ ድሮ ሲሆን ነው።

የመጠኑ ጉዳይ ካንቺ ኮምፒውተር አይደለም። ሙድል የሚሰራው ፒኤችፒ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ነው፣ እሱ ደግሞ ማንም ካልነካው ከ2 ሜጋ በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም። ሰርቨሩን የሚያስተዳድሩት ሰዎች ከፍ ያደርጉታል እንጂ ወደ 2 ጊጋ የሚያደርሱት ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ ባክአፕ ስታደርጊ በሚመጣው ዝርዝር ላይ የ14ቱን ቪዲዮ ቲክ አንሺ። ክብደቱ ያለው እዛ ነው፣ ቀሪው በጣም ቀላል ይሆንልሻል። ይህም ካልሆነ ፋይሉን በፍላሽ ይዘሽ ሰርቨሩን ወደሚያስተዳድሩት ሰዎች ሂጂ። ሰርቨሩ ላይ በቀጥታ ያስቀምጡትና ከዛው ሪስቶር ይደረጋል፣ በኢንተርኔት መላክ አያስፈልገውም። የሚጠየቅ ሰው ካልተመደበ በደብዳቤ ጠይቂ፣ ደብዳቤ ሲሆን አንድ ሰው ለመመለስ ይገደዳል።

አሁን ዋናው። በመምህር ፈቃድ የሚሰራ ባክአፕ አብዛኛውን ጊዜ የተማሪ ዳታ አይዝም። ውጤት የለም፣ የገባ አሳይመንትም የለም። ስለዚህ ዛሬውኑ፣ ከምንም በፊት፣ የውጤት መዝገቡን በኤክሴል አውርጂ። አሳይመንቶቹንም ገጻቸው ላይ ሁሉንም ባንዴ አውርድ የሚለውን ተጭነሽ በዚፕ ያዢ። ሃንድአውት ቢጠፋ ፍላሽሽ ላይ ይኖራል፣ የተማሪ ስራ ግን ሲስተሙ ከተዘጋ በኋላ ከየትም አይገኝም። እኔ በስራዬ ሰው ሲያለቅስ ያየሁት በዚህ ነው።

ሌላ መምህር፣ ፔዳ አካባቢ

ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ የምጨምረው የአማርኛውን ነገር ነው፣ እኔን ሁለት ሳምንት ስለበላኝ።

የቆዩ ሃንድአውቶችሽ በቪዥዋል ግዕዝ ወይ በድሮው ፓወር ግዕዝ ፎንት ተጽፈው ከሆነ ተጠንቀቂ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት ኮድ ነው) የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዛ በፊት የነበሩት ፎንቶች የላቲን ፊደል ላይ የኛን ቅርጽ ያለበሱ ናቸው። ዎርድ ላይ "ሀ" ሆኖ የሚታይሽ ነገር ኮምፒውተሩ ልብ ውስጥ ሌላ ፊደል ነው። ኮፒ አድርገሽ ሙድል ገጽ ላይ ስትለጥፊው ትርጉም የሌለው የፈረንጅ ፊደል ይሆንብሻል። ለንባብ ብቻ ከሆነ ፎንቱ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ፒዲኤፍ አድርጊው፣ መልኩን ይይዛል። ተማሪ ፒዲኤፉ ውስጥ ቃል ፈልጎ ማግኘት አይችልም እንጂ ያነበዋል። ለክዊዝ ግን ወደ ዩኒኮድ መቀየር ወይ እንደገና መጻፍ ነው፣ አቋራጭ የለውም። መቀየሪያ ሶፍትዌር ከተጠቀምሽም "ቋ" እና "ኳ" ዓይነቶቹን በዓይንሽ አረጋግጪ።

ሌላም ልንገርሽ። አዲስ ጥያቄ በብዛት ለማስገባት አይከን የሚባል ቀላል ፎርማት አለ። ኖትፓድ ላይ ጥያቄውን፣ ከስሩ አማራጮቹን፣ መጨረሻ ላይ መልሱን ትጽፊያለሽ፣ አለቀ። እኔ እንደለመድኩት አማራጮቹን በሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ጽፌ 60 ጥያቄ አንድም አልገባልኝም። ለካ ለአማራጮቹ የሚቀበለው እንደ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ያሉትን ትልልቅ የላቲን ፊደሎች ብቻ ነው። ጥያቄው በአማርኛ ቢሆን ግድ የለውም። ሴቭ ስታደርጊም ኢንኮዲንጉ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን እይ፣ አለዚያ ግዕዙ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል።

የባዮሎጂ መምህርት

እግዜር ይስጥልኝ። ውጤቱን አሁኑኑ አወረድኩት። አሳይመንቱ ደግሞ እየወረደ ነው። ሃንድአውት 3 እና 4 የምትሉት ችግር አለባቸው፣ ከፍቼ አየሁ፣ ቪዥዋል ግዕዝ ናቸው። ግን ቪዲዮዎቹን ከባክአፑ ካስወጣሁ ተማሪው ከየት ያያቸዋል?

ተማሪ፣ 3ኛ ዓመት

ቲቸር፣ የርስዎ ተማሪ ባልሆንም በተማሪ በኩል ያለውን ልናገር። እኛ ዶርም ውስጥ የምንከፍተው በስልክ ነው፣ በራሳችን ዳታ። አንድ ቪዲዮ 300 ሜጋ ከሆነ ማንም አያየውም፣ አንዱ ያወርድና በቴሌግራም ለሌላው ይልካል። ስለዚህ የምስሉን ጥራት ወደ 480 ዝቅ አድርገው ቢጭኑት ይበቃናል፣ ሃንድብሬክ የሚባለው ነጻ ሶፍትዌር ይሰራዋል። ድምጹ ጥርት ካለ ምስሉ ቢቀንስም እንማርበታለን። የሙድል የስልክ አፕ ላይም ኮርሱን ዋይፋይ ባለበት አውርደን በኋላ ያለ ኔት ማንበብ እንችላለን፣ ኮሌጁ አፑን ከፈቀደ። እባክዎ ይጠይቁልን።

አንድ ልመና ደግሞ አለኝ። የፋይሎቹን ስም ያስተካክሉልን። "ሃንድአውት የመጨረሻ አዲስ 2" የሚል ፋይል ፈተና ሲደርስ የትኛው ምዕራፍ እንደሆነ አይታወቅም።

የቆየ መምህር

ልጄ ያለው እውነት ነው። እኔም ስለ ሰዓት ልበል፣ ሁሉ ሰው ይረሳዋል።

ባለፈው ዓመት አንድ አሳይመንት ሰኞ በፈረንጅ አቆጣጠር ከጠዋቱ 8:00 ላይ እንዲዘጋ አደረግሁ። በኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ማለት ነው። አንዲት ተማሪዬ ቅዳሜና እሁድ ዘጌ ቤተሰቦቿ ጋር ነበረች። ስልኳ ላይ 8:00 የሚል አይታ 8 ሰዓት ከቀኑ መስሏት፣ ተመልሳ 7 ሰዓት ላይ ልታስገባ ስትል ተዘግቷል። ቢሮዬ ስትመጣ ስራው ተጽፎ አልቆ በእጇ ነበር። እርግጥ ከፈትኩላት። ግን ሳይመጡ ዝም ብለው የቀሩ ስንት ይሆኑ?

ከዚያ ወዲህ በየአሳይመንቱ መመሪያ ላይ ቀኑንም ሰዓቱንም በኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ። "ሰኞ ሰኔ 9፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት" ብዬ። አዲስ ሰርቨር ላይ ደግሞ የሰዓት ክልሉ አዲስ አበባ መሆኑን አይታችሁ አረጋግጡ፣ የለንደን መደበኛ ሰዓት ላይ ከተተወ ሁሉም ነገር በ3 ሰዓት ልዩነት ይዛባል። ሪስቶር ስታደርጉም የኮርሱን መጀመሪያ ቀን አዲስ ካስገባችሁ የመዝጊያ ቀኖቹ አብረው ይገፋሉ። በዚያውም ቢሆን አንድ በአንድ እዩዋቸው፣ እኔ እሁድ ላይ የወደቀ ፈተና አግኝቻለሁ።

የባዮሎጂ መምህርት

ከ4 ቀን በኋላ ተመለስኩ። ቪዲዮዎቹን አውጥቼ ባክአፕ ሳደርግ 160 ሜጋ ሆነ፣ አንዴ ሞክሬ ገባ! መጀመሪያ ለተማሪ የማይታይ ባዶ ኮርስ ውስጥ ነው ያስገባሁት። 240ው ጥያቄ በሙሉ አለ። ሁለት ሊንክ ብቻ ተሰብሯል፣ ሁለቱም ወደ ድሮው ሲስተም ሌላ ኮርስ የሚወስዱ ነበሩ። ሃንድአውት 3ን እንደገና እየጻፍኩት ነው። 4ኛውን ፒዲኤፍ አድርጌ አሳለፍኩት፣ ክረምት ላይ እመለስበታለሁ። ቪዲዮዎቹን በ480 እየቀነስኩ ነው፣ እስካሁን 9 አልቀዋል። ስለ አፑ ደብዳቤ አስገብቻለሁ፣ መልስ አልመጣም።

የእምቦጩን ገጽ ግን ትናንት ማታ መብራት ጠፍቶ ሳለ በስልኬ ከፈትኩት። ዘንጉ ለሁለት የተሰነጠቀበት ፎቶ፣ ማብራሪያው ከስሩ፣ ጥያቄውም ከነአማራጩ እንዳለ አለ።