«ወንዱ በጎን ነው የሚያየው»? በየትኛው ጎን?

ሪሞት ያዡ፦
ትናንት ማታ ቋሚ ተሰላፊ እዚህ የለጠፈውን አይታችሁ ዝም አላችሁ? ሳልጨምር ሳልቀንስ ልገልብጠው፦ «መሪዋ ሴት የሆነች ተከታታይ ድራማ የሴት ዕቃ ናት። ወንዱ በጎን ነው የሚያየው። ስፖንሰሩም የሚከፍለው ለሴቷ ነው።» ሦስት ዓረፍተ ነገር፣ ሦስቱም ጠማማ። ሌላው ይቆይና ይሄ «በጎን» የሚባለው እይታ በምን ይለካል? ስንት በመቶ እንዳየው ከሚናገረው ቁጥር፣ ከሬቲንጉ ላይ «ይሄን ያህል ነጥብ በጎን» ብሎ ለይቶ የሚያወጣ ካለ አሳየኝና ልቀመጥ።

ቋሚ ተሰላፊ፦
እንደምትመጣ አውቄ ነበር። ቀላል ነው። የተመልካች ስብጥር ሲወጣ ሴቷ 60፣ 64 በመቶ ትሆናለች። ቀሪው ከሚስቱ ወይም ከእህቱ ጋር ተቀምጦ ያየ ነው። ሪሞቱ እሱ እጅ ቢሆን ይቀይረዋል። በጎን ማለት ይሄ ነው።

ቆጣሪዋ፦
ተሰላፊ፣ ስብጥርና ብዛት ተምታቱብህ። ስብጥር ከመቶ ነው፣ ብዛት የራስ ቆጠራ ነው። ምሳሌውን እኔ ፈጥሬዋለሁ፣ አንተ ስሌቱን ብቻ ተከተል። አንዱ ድራማ መሪዋ ሴት፣ ተመልካቹ 6,000,000፣ 64 በመቶው ሴት። ወንዱ 2,160,000 ሆነ። ሌላው ጠመንጃና የመኪና ማባረር፣ ተመልካቹ 2,500,000፣ 70 በመቶው ወንድ። ወንዱ 1,750,000። የሴት ዕቃ ያልካት በ410,000 ወንድ በለጠች።
ደግሞ 64 ብቻውን ባዶ ቁጥር ነው። በዚያ ሰዓት ቴሌቪዥን ከፍቶ ከተቀመጠው ሰው ስንቱ ሴት ነው? 56 በመቶው ከሆነ፣ 64ን ለ56 አካፍለህ በ100 ስታባዛ 114 ይመጣል። ኢንዴክስ የሚባለው ይሄ ነው፤ 100 ከሆነ እኩል ነው፣ ማንም አልበዛም። ማስታወቂያ የሚያቅድ ሰው እንደ ልማዱ 120 ሳይደርስ «ወደ ሴት ያደላ» ብሎ አይጮኽም።

ቋሚ ተሰላፊ፦
ስሌትሽ ልክ ነው፣ ግን ገበያ ላይ ይወድቃል። የወንድ ምላጭ የሚሸጥ ሰው ከ6 ሚሊዮኑ ላይ የ30 ሰከንድ ማስታወቂያ ሲገዛ ለ3,840,000 ሴትም አብሮ ይከፍላል። ለእሱ ብክነት ነው። ዋጋው በሺህ ተመልካች ቢባልም እሱ የሚቆጥረው የሚፈልገውን ሺህ ብቻ ነው። ከትንሿ ድራማ ላይ ወንዱን በርካሽ ያገኘዋል። ስለዚህ ስፖንሰሩ የሚከፍለው ለሴቷ ነው ማለቴ አልተሳሳተም።

ቆጣሪዋ፦
እንግዲያው «ወንዱን እዚያ መግዛት ይወደዳል» በል። «ወንድ አያየውም» ሌላ፣ ይሄ ሌላ። አንተ የገበያውን ዋጋ ወስደህ የሰው ፍላጎት አደረግኸው።

ጋሽ ሞገድ፦
ልጆች፣ ኦሺንን የሚያስታውስ የለም? የጃፓኑ ጣቢያ ኤንኤችኬ እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 1984 ያሳየው፣ 297 ክፍል፣ እያንዳንዱ 15 ደቂቃ፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ። መሪዋ አንዲት ሴት ብቻ ናት፣ በልጅነት፣ በወጣትነትና በእርጅና ሦስት ተዋንያት ተፈራርቀው የተጫወቷት። አማካይ ሬቲንጉ 52.6፣ ከፍተኛው 62.9። እስካሁን በጃፓን ድራማ የደረሰበት የለም። ስልሳ ምናምን በመቶ ያየውን ነገር የሴት ዕቃ ስትሉ አታፍሩም? ኤንኤችኬ ደግሞ ማስታወቂያ አያስነግርም፣ የሚተዳደረው ከተመልካች በሚሰበስበው ክፍያ ነው። ስፖንሰር የለ፣ ምላጭ የለ።

ነገር ፈላጊ፦
ጋሼ፣ በአክብሮት፣ 62.9 የቤት ሬቲንግ ነው፣ የሰው አይደለም። 100 ቤት አለ እንበል፣ ውስጡ 260 ሰው። 63ቱ ቤት ከፍቶ በየቤቱ አንዲት ሴት ብቻ ብታይ የቤቱ ሬቲንግ 63 ይሆናል፣ የሰው ሬቲንግ ግን 24 ገደማ። ሰዓቱም ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ15 ነበር። ሥራ ያለው ወጥቶ ሄዷል። የጠዋቱ ድራማ የተተከለው ቤት ለሚውል ሰው ነው።

ቋሚ ተሰላፊ፦
ተባረክ!

ነገር ፈላጊ፦
አትባርከኝ፣ ያንተም አልተረጋገጠም። የቤት ሬቲንግ ወንድ ማየቱን ካላሳየ አለማየቱንም አያሳይም። በዚያ ላይ የዚያኑ ቀን እኩለ ቀን ላይ ይደገም ነበር።

ጋሽ ሞገድ፦
ማታ ይሁን ካላችሁ የኮሪያውን ዴ ጃንግ ጉም ውሰዱ። እ.ኤ.አ. 2003፣ 54 ክፍል፣ ሰኞና ማክሰኞ ማታ፣ ሁሉም ቤቱ በገባበት ሰዓት። ሬቲንጉ ከ50 በላይ የወጣበት ጊዜ አለ። የቤተ መንግሥት ወጥ ቤት ገብታ ሐኪም የምትሆን ሴት ታሪክ ነው። ነገር ፈላጊ ይሄንንም «የቤት» ይለኛል፣ አውቀዋለሁ።

ነገር ፈላጊ፦
የቤት ነው ጋሼ።

ሪሞት ያዡ፦
«በጎን» ወደምትለዋ ተመልሰን እንግባ። የተመልካች መቁጠሪያው ፒፕል ሜትር አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1987 ሲገባ ዋናው ነገሩ ይሄ ነበር። ከቴሌቪዥኑ አጠገብ የምትቀመጥ ሳጥን ናት፣ ለእያንዳንዱ የቤት ሰው የራሱ ቁልፍ አለው። ዕድሜና ጾታ አስቀድሞ ተመዝግቧል። ስትቀመጥ ትጫናለህ፣ ስትነሣ መልሰህ ትጫናለህ። ዝም ካልክ መብራቷ ብልጭ ብልጭ እያለች ትነዘንዝሃለች። እንግዳ ቢመጣ እንኳ ዕድሜውና ጾታው ይሞላል። ቁልፉን የተጫነ ወንድ ተመልካች ነው፣ ግማሽ ተመልካች የሚባል ቁልፍ የለም። ተሰላፊ «በጎን» የሚለው ሰው ወይ ተጭኗል ወይ አልተጫነም።

ቋሚ ተሰላፊ፦
እኮ! ተጭኗል፣ ግን ስልኩን ነው የሚያየው። ሳጥኗ ዓይን የላትም።

ሪሞት ያዡ፦
ሴቷስ ስልክ የላትም? ለእሷ ስትቆጥር ዓይን፣ ለእሱ ስትቆጥር ጎን!

ቆጣሪዋ፦
ስህተቱ ደግሞ ወደ ሌላ በኩል ነው የሚያደላው። ቁልፍ መጫን ይሰለቻል። እየቆየ ሲሄድ የሚጫነው ሪሞት የያዘው ብቻ ሊሆን ይችላል፣ አጠገቡ ያለው ሰው ሳይጫን አይቶ ይነሣል። ድራማውን ሴቷ ከከፈተችው ያልተቆጠረው ወንዱ ነው ማለት ነው። ተሰላፊ የሚያጣጥለው ሰው አንዳንዴ ጭራሽ ቁጥሩ ውስጥ የለም። ይሄን ለማስተካከል ነው ሰው ይዞት የሚዞር መለኪያ የመጣው፤ በስርጭቱ ድምፅ ውስጥ ጆሮ የማይለየውን ኮድ ራሱ ይሰማል። ይዘኸው ክፍሉ ውስጥ ከነበርክ ተቆጠርክ፣ ቁልፍ መጫን ረሳሁ ማለት የለም።

ቋሚ ተሰላፊ፦
ክፍሉ ውስጥ መሆንና መውደድ አንድ ናቸው?

ቆጣሪዋ፦
አይደሉም። ግን ለወንዱ ድራማም እንደዚያው ይሁን። ኳስ ሲታይ አጠገብ የተቀመጠች ሴት በጎን ናት? ወይስ እሷ «ደጋፊ» ናት?

ቃል ጠባቂ፦
ይቅርታ ላቋርጥና፣ ከላይ ጀምሮ «ድራማ» ትላላችሁ፣ ትናንት በሌላ ልጥፍ ተሰላፊ ራሱ «ተከታታይ ፊልም» ሲል ነበር። ፊልም አንድ ጊዜ ታይቶ የሚያልቅ ነው። ተከታታይ ድራማ በሉ።

ጋሽ ሞገድ፦
ልጄ፣ ዱሮ በፊልም ጥቅል ነበር የሚቀረጸው። ተከታታይ ፊልም ቢባል ምን ይነካዋል?

ቃል ጠባቂ፦
ኦሺን የተቀረጸው በቪዲዮ ቴፕ ነው ጋሼ።

ሪሞት ያዡ፦
ሌላ መስመር ክፈቱና እዚያ ተጣሉ።

ክፍል አምስት፦
ልጆችን የረሳችሁ ትመስላላችሁ። «ወንድ ልጅ ሴት ጀግና አያይም» የሚለው እምነት ከሁሉም የከረረው አኒሜሽን ላይ ነው። የአሜሪካው የልጆች ጣቢያ ኒኬሎዲየን ሌጀንድ ኦቭ ኮራን ሲያዘጋጅ ኃላፊዎቹ ይሄኑ ፈርተው ነበር። ለልጆች ሲታይ ወንዶቹ መሪዋ ሴት መሆኗ ምንም አልመሰላቸውም፤ ይሄን የተናገሩት አዘጋጆቹ ራሳቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 ሲጀምር ከ4 ሚሊዮን በላይ ሰው አየው።

ቋሚ ተሰላፊ፦
ታዲያ እ.ኤ.አ. በ2014 ሦስተኛው ሲዝን መሐል ላይ ከቴሌቪዥን ወርዶ ወደ ኢንተርኔት የተገፋው ምን ሆኖ ነው? አክሊል ለብሶ?

ክፍል አምስት፦
ይሄን ማንሳትህ ጥሩ ሆነ። ክፍሎቹ በጣቢያው ሳይታዩ ኢንተርኔት ላይ ሾልከው ወጡ። ጣቢያው ደንግጦ፣ በቂ ማስተዋወቂያ ሳይሠራ፣ በጥድፊያ በበጋው ዓርብ ማታ አስተላለፈው። ዓርብ ማታ ልጅ የሚገኝበት ሰዓት አይደለም። እንደዛ አድርገህ የምትለቀው ወንድ ጀግናም ይሰምጣል።

ቋሚ ተሰላፊ፦
ሁልጊዜ ሰበብ አለ። ሲሳካ ሴቷ፣ ሲወድቅ ሰዓቱ።

ክፍል አምስት፦
ሰዓቱ ነዋ! የአሜሪካውን መርደር ሺ ሮትን እይ። መሪዋ አዛውንት ሴት፣ እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1996፣ 264 ክፍል። ለዓመታት እሑድ ማታ፣ ሲክስቲ ሚኒትስ የሚባለው የዜና ፕሮግራም እንዳለቀ ይቀጥል ነበር። ዜናውን ሲያይ የነበረው ወንድ ሶፋው ላይ እንደተቀመጠ ይቆያል። በ1995 ጣቢያው አንሥቶ ሐሙስ ምሽት 2 ሰዓት ላይ በሌላ ጣቢያ ከሚታየው ኮሜዲ ከፍሬንድስ ፊት ለፊት ተከለው። በዚያው ሲዝን ተዘጋ። መሪዋ ያችው፣ ጽሑፉ ያው፣ የተለወጠው ቀኑና ከፊቱ ያለው ፕሮግራም ነው።

ነገር ፈላጊ፦
እዚያ ላይ ችግሩ ጾታም አልነበረም፣ ዕድሜ ነበር። አስተዋዋቂው ከ18 እስከ 49 ያለውን ነው የሚፈልገው፣ ያ ድራማ የሚያየው ሰው አብዛኛው ከዚያ በላይ ነበር። በብዛት አንደኛ ብትሆን እንኳ ሰዓትህ በርካሽ ይሸጣል።

ሪሞት ያዡ፦
እኔ የሚያናድደኝ ፕሮሞው፣ ድራማውን የሚያስተዋውቀው ቁራጭ ነው። የአንድን ክፍል 30 ሰከንድ ሁለት ዓይነት አድርገህ መቁረጥ ትችላለህ፦ አንዱ ማሳደዱ፣ አንዱ ልቅሶው። ጣቢያው መሪዋ ሴት ስለሆነች ልቅሶውን ይቆርጣል፣ እሱኑ ቀን ቀን የሴት ተመልካች በሚበዛበት ፕሮግራም መሐል ያስገባዋል፣ ኳሱ እረፍት ላይ አያስገባውም። የሚመጣው ማን ነው? ያው የተጠራው። የዓመቱ ሪፖርት «64 በመቶ ሴት» ይላል። በቀጣዩ ዓመት በዚሁ ሪፖርት መሠረት ልቅሶው ይደገማል። ከዚያ ቋሚ ተሰላፊ መጥቶ «አላልኳችሁም?» ይላል።

ቋሚ ተሰላፊ፦
ታሪኩ ልቅሶ ባይኖረው ከየት ይቆረጣል?

ጸሐፊ ነኝ ባይ፦
እሱ እንኳ ስክሪፕቱ ላይ ይታያል። መሪ ናት አይደለችም ለማለት ፖስተር አይታይም። የመጀመሪያዎቹን አራት ክፍሎች ዘርግተህ ትዕይንት ትቆጥራለህ፦ ስንቱ ላይ አለች ሳይሆን ስንቱ ላይ ውሳኔው የእሷ ነው። ለምሳሌ አንደኛው ክፍል ላይ ከአሥሩ ስምንቱን ትወስናለች። አራተኛው ላይ ሦስት ሆኗል፣ ቀሪውን የሥራ ባልደረባዋ ወስዶታል፣ እሷ ታፍናለች፣ ትድናለች፣ ታለቅሳለች። ዋናው ታሪክ ወደ እሱ ዞረ፣ ለእሷ የቀረላት የጎን ታሪክ ነው። ተመልካች ሲሸሽ «ሴት መሪ አልሠራም» ይባላል። ከመሪነት ካወረድካት በኋላ እኮ ነው!

ቆጣሪዋ፦
የአሜሪካው ካግኒ ኤንድ ሌሲም እንዲሁ ነበር። ሁለት ሴት መርማሪ ፖሊሶች። እ.ኤ.አ. በ1982 ከስድስት ክፍል በኋላ ጣቢያው ገጸ ባሕርያቱ ከልክ በላይ ጠንካራ ሆኑ ብሎ አንዷን ተዋናይት ቀየረ። በ1983 ዘጋው፣ ተመልካች ደብዳቤ አዘነበ፣ ተመለሰ። ከ1983 ጀምሮ በተከታታይ ስድስት ዓመት የአሜሪካን የቴሌቪዥን ሽልማት፣ የድራማ ምርጥ መሪ ተዋናይት ኤሚን ከሁለቱ አንዷ ወሰደች።

ቋሚ ተሰላፊ፦
ደብዳቤውን የጻፈው ወንድ ነው? ሽልማት ደግሞ ሬቲንግ አይደለም። ከስንፍና የተነሣ ሁላችሁም የአርባ ዓመት ዕቃ ታመጣላችሁ። የዛሬውን አምጡ።

ሪሞት ያዡ፦
የኔትፍሊክሱ ኩዊንስ ጋምቢት፣ እ.ኤ.አ. 2020፣ 7 ክፍል፣ ቼዝ የምትጫወት ልጅ። በ28 ቀን 62 ሚሊዮን ቤት።

ነገር ፈላጊ፦
ያኔ ኔትፍሊክስ የሚቆጥረው 2 ደቂቃ ያየውን ሁሉ ነበር። 2 ደቂቃ እኮ ተሳስቶ የነካም ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ ጠቅላላ የታየ ሰዓት ዞሩ፣ በ2023 ሰዓቱን ለድራማው ርዝመት አካፍለው «እይታ» አሉት። ሦስቱ መለኪያ ላይ ሦስት ዓይነት አሸናፊ ይወጣል።

ሪሞት ያዡ፦
ይሁን። ግን እዚያ ቤት ጾታ ለምርጫ አይገባም፣ ድርጅቱ ራሱ ምክረ ሐሳቡ ዕድሜና ጾታን አይጠቀምም ይላል። ያየኸውን አይቶ ነው የሚያቀርብልህ። የሽፋን ሥዕሉ እንኳ ለሰው ለሰው ይለያያል፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ራሳቸው አስረድተዋል። ለፍቅር ተመልካች መሳሳሙን፣ ለሳቅ ተመልካች ቀልደኛውን። «የሴት ዕቃ» የሚል መደርደሪያ ከሌለ ወንዱ በጎን ከየት ይገባል?

ቋሚ ተሰላፊ፦
ከሚስቱ ፕሮፋይል።

ቆጣሪዋ፦
አሁን ጨርሰህ ጠፋህ። በሚስቱ ፕሮፋይል ካየ፣ አንተ የምትመካበት «64 በመቶ» ውስጥ እሱም ሴት ሆኖ ተቆጥሯል ማለት ነው።

ቋሚ ተሰላፊ፦
ያንን 64 የኔ አታድርጊው፣ «ምሳሌውን እኔ ፈጥሬዋለሁ» ብለሽ የጻፍሽው አንቺ ነሽ። ከላይ ውጪና አንብቢ።

ሪሞት ያዡ፦
«60፣ 64 በመቶ» ብለህ ቀድመህ የጻፍከው አንተ ነህ! ሁለተኛው መልስ ላይ ነው፣ እንዳታጠፋው፣ ፎቶ አንስቼዋለሁ።

ቃል ጠባቂ፦
«በመቶ» ወይስ «ከመቶ»? ቆጣሪዋ መጀመሪያ ላይ «ከመቶ ነው» ብላ ነበር።

ጋሽ ሞገድ፦
ኦሺን ቴፕ ላይ ነው ያልከው ልጅ፣ የውጭ ቀረጻውም ጭምር?