ክርክር (ሜይ 2021)፦ ማስክ ቤተክርስቲያን ውስጥ ይውለቅ ወይስ ይቆይ?

የእምድብር ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የተነበበውን ማስታወቂያ ላልሰማችሁ በአጭሩ ላስቀምጠው። ከመጪው እሁድ ሜይ 23 ጀምሮ የኮቪድ ክትባቱን ጨርሶ ሁለት ሳምንት የሞላው ሰው ያለማስክ ማስቀደስ ይችላል። የክትባት ካርድ የሚጠይቅ የለም፤ ለየኅሊናችን ተትቷል። ላልተከተቡና ማስክ ማድረግ ለሚፈልጉ ከኋላ በግራ በኩል አራት አግዳሚ ወንበሮች በገመድ ይከለላሉ። መዘምራን ማስካቸውን እንዳደረጉ ይቀጥላሉ።

መነሻው ይገባኛል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) ሜይ 13 ቀን 2021 ሙሉ በሙሉ የተከተበ ሰው በአብዛኛው ቦታ፣ ቤት ውስጥም ቢሆን፣ ማስክ አያስፈልገውም አለ። የሜሪላንዱ ገዥ ላሪ ሆጋን በማግስቱ ግዴታው ከሜይ 15 ጀምሮ እንደሚነሳ አስታወቁ። አባም የሕዝቡን ማጉረምረም ሰምተው ነው። ክፉ አስበው እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ግን ያለን ቅዳሴ አንድ ነው። እኛ የግዕዝ ሥርዓት ካቶሊኮች ሕንፃውን የምንጋራው ከላቲን ሥርዓት ካቶሊኮች ቁምስና (ደብር) ጋር ነው። ጠዋቱ የእነሱ ነው፤ እኛ የምንገባው ከሰዓት ነው። "ካልተመቸህ በሌላኛው ቅዳሴ ና" የሚባልበት ሌላኛ ቅዳሴ የለንም። ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ደግሞ የተፈቀደ ክትባት እስካሁን የለም። ፋይዘር ከ12 እስከ 15 ላሉት እንኳ የተፈቀደው ገና ሜይ 10 ነው። ታዲያ ገመዱ ውስጥ የሚቀመጠው ማነው? ትንንሽ ልጆች ያሏት እናት፣ ኩላሊት የተተከለለት ሰው፣ ካንሰር የሚታከም ሰው። አየሩ በገመድ አይከለል! የሁላችንም ቅዳሴ አንድ እስከሆነ ድረስ ማስኩ ለሁላችንም ይቆይ ባይ ነኝ። እናንተስ?

ሆሳዕና፦
ወንድሜ፣ አከብርሃለሁ ግን አልስማማም። ከአንድ ዓመት በላይ ታዘናል። ዝጉ ሲሉን ዘጋን። ፋሲካን በስልክ አስቀደስን። ለቅሶ እንኳ ሳንደርስ ሰው ቀበርን። ተከተቡ አሉን፣ ተሰልፈን ተከተብን። አሁን ያው ሲዲሲ አውልቁ ሲል "የለም፣ ትንሽ ቆዩ" የምንል ከሆነ፣ እስካሁን የሚያመነታው ሰው ምን ብሎ ይከተባል? የባለሙያ ቃል የሚሰማው ጠበቅ ሲልብን ብቻ አይደለም። ሲያላላልንም ነው።

ሌላም አለ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኖቬምበር 2020 ላይ የብሩክሊን ሀገረ ስብከት ባቀረበው ክስ ለቤተክርስቲያን ፈርዷል። አምልኮ እንደ ትርፍ ነገር መታየት የለበትም። ሱፐርማርኬቱ ሲያወልቅ እኛ ምን ሆነን ነው የምንለብሰው?

የእምድብር ልጅ፦
ሆሳዕና፣ ፍርዱን አውቀዋለሁ። 5 ለ 4 ነው የተወሰነው። ጉዳዩ ግን የሰው ቁጥር ነበር። ኒው ዮርክ በሽታው ስለበዛ ቀይና ብርቱካናማ ባለቻቸው አካባቢዎች ቤተክርስቲያን ውስጥ ከ10 ወይም ከ25 ሰው በላይ አይግባ ብላ ነበር። ስለ ማስክ አይደለም የተከራከሩት። እኛን ደግሞ አሁን የሚያስገድደን መንግሥት የለም፤ ሆጋን አንስተውታል። ውሳኔው በእጃችን ነው። ለዚህ ነው እርስ በርስ የምንነጋገረው።

ሱፐርማርኬት ስትገባ ቲማቲምህን ይዘህ ትወጣለህ። እኛ ሁለት ሰዓት ሙሉ እንቀመጣለን፣ እንዘምራለን።

ከበሮ መቺው፦
እሱን ልጨምርበት። መዘምራን ማስክ ያድርጉ፣ ሕዝቡ ያውልቅ የሚለው ነገር ለኔ አልገባኝም። በኛ ሥርዓት ሕዝቡ ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥ አይደለም። መጽሐፈ ቅዳሴው ላይ "ይበል ሕዝብ" የሚለው ስንት ቦታ ነው? ካህኑ ይላል፣ ዲያቆኑ ይላል፣ ሕዝቡ በዜማ ይመልሳል። "እግዚኦ ተሠሃለነ" ሲባል ከኔ ከበሮ የሕዝቡ ድምፅ ይበልጣል። እኛ መዘምራኑ 14 ነን፣ የሚመልሰው ሕዝብ ግን ከ100 በላይ ነው። አደጋው ዜማ ከሆነ ዜማው ያለው ሕዝቡ ጋ ነው።

ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ስካጂት የሚባል ቦታ የሆነውን ታስታውሳላችሁ? ማርች 10 ቀን 2020፣ 61 ሰዎች የመዝሙር ልምምድ አደረጉ። ሁለት ሰዓት ተኩል። ተጠንቅቀው አልተቃቀፉም፣ እጅም አልተጨባበጡም። ከመካከላቸው 53ቱ ታመሙ፣ 33ቱ በምርመራ የተረጋገጠ። ሁለት ሰዎች ሞቱ። እኔ ያንን ካነበብኩ ወዲህ ትንፋሼን ስስብ እንኳ ትዝ ይለኛል።

ሆሳዕና፦
ያኔ ክትባት የለም፣ ማስክም ያደረገ አልነበረም። የያኔውን ከዛሬው ጋር አታወዳድር። ፋይዘር በሙከራው 95 በመቶ ነው የተከላከለው። እንደዚህ የሚከላከል ነገር በክንዳችን ተወግተን እንዳልተወጋን የምንኖር ከሆነ መቼ ነው የሚያበቃው? ቀን ቁረጡልኝ።

ናይት ሺፍት፦
እኔ የኩላሊት እጥበት (ዲያሊሲስ) ክፍል ነው የምሠራው። 12 ሰዓት ሙሉ ኤን95 በሚባለው ጥብቅ ማስክ ቆሜ ነው ወደ ቅዳሴ የምመጣው። አፍንጫዬ ላይ ያለውን ጠባሳ ያያችሁ ታውቃላችሁ። ማስክ ማውለቅ ከማንም በላይ የምፈልገው እኔ ነኝ።

ሆሳዕና ስለ ክትባቱ ያልከው ልክ ነው፣ ጤነኛ ሰው ላይ። ባልቲሞር ያለው የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች በዚህ ወር ያወጡት ጥናት አለ። አካል የተተከለላቸውን 658 ሰዎች ሁለቱንም ዙር ከወሰዱ በኋላ መረመሩ። 46 በመቶው ላይ ምንም አንቲቦዲ፣ ማለትም ሰውነት በሽታውን ለመከላከል የሚሠራው ነገር፣ አላገኙም። ንቅለ ተከላው እንዳይበላሽ የሚወስዱት መድኃኒት ክትባቱ እንዳይሠራ ያደርጋል። እነዚህ ሰዎች ካርዳቸውን ቢያሳዩ "ሙሉ በሙሉ የተከተቡ" ናቸው። ማስታወቂያው አውልቁ የሚላቸው እነሱንም ነው። በኛ ቁምስና ቢያንስ ሁለት አሉ፤ ስማቸውን አልጠራም። አንደኛው "እኔ ተከትቤያለሁ፣ አውልቃለሁ" ብሎ እሁድ ደስ ብሎት ሲሄድ ሰምቼ ልቤ ተሰበረ። ማስታወቂያው ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጨመርልን፦ "የበሽታ መከላከያ አቅምን የሚቀንስ መድኃኒት የምትወስዱ ሐኪማችሁን ሳታማክሩ እንዳታወልቁ። ክትባቱ እናንተ ላይ ላይሠራ ይችላል።" ሌላው ላይ ባንስማማ እንኳ በዚህ የሚከራከር ያለ አይመስለኝም።

የድሮው መምህር፦
ልጆቼ፣ የኔንም ስሙኝ። 78 ዓመቴ ነው፣ ተከትቤያለሁ። ጆሮዬ መስማት ከደከመ ቆይቷል። ከጆሮዬ ጀርባ የማደርገው መሣሪያ ከማስኩ ክር ጋር ይጠላለፍብኛል። ማስኩን ሳወልቅ አብሮ ይወድቃል። አንዴ ፓርኪንጉ ላይ ወድቆ መኪና ሊሄድበት ሲል አንዲት ልጅ ናት ሮጣ ያነሳችልኝ። ዋጋው ከኔ የሁለት ወር የቤት ኪራይ ይበልጣል። ሌላው ደግሞ፣ ሰው ሲናገር ከንፈሩን እያየሁ ነው የምረዳው። አንድ ዓመት ሙሉ ስብከት አልሰማሁም ብል ውሸት አይደለም። ማስክ ማንንም አይጎዳም ስትሉ እኔን አስቡኝ።

ናይት ሺፍት፦
አባባ፣ እርስዎ ያሉት በጣም ትክክል ነው። የመሣሪያውን ነገር በቀላሉ መፍታት ይቻላል። ክሩ ከጆሮ ጀርባ ሳይሆን ከጭንቅላት ኋላ የሚታሰር ማስክ አለ፤ እሁድ አመጣልዎታለሁ። ስብከቱን ደግሞ አባ ከመቅደሱ ደጃፍ ሆነው፣ ከሕዝቡ ራቅ ብለው፣ አውልቀው ቢሰብኩ እኔ እንደ ነርስ ቅር አይለኝም። ተከትበዋል፣ ርቀትም አለ። ፊት ወንበር ላይ ቦታ እንያዝልዎ።

የመንታ እናት፦
እኔ የማወራው ገመዱ ውስጥ ሆኜ ነው። ልጆቼ 6 ዓመታቸው ነው። አራቱ ወንበሮች ያሉት የት እንደሆነ አስተውላችኋል? ዓምዱ ጀርባ ነው። ከዚያ ሆኖ መንበረ ታቦቱ አይታይም። እኔ እንኳ ቆሜ አላይም፣ ልጆቹማ ጭራሽ። ማሞቂያውም እዚያ ጋ ስለሆነ መስኮቱ አይከፈትም። አየር የሚያስፈልጋቸውን ሰዎች አየር የሌለበት ጥግ አስቀመጡ። ማንም ሆን ብሎ አላደረገውም፤ ባዶ የነበረው ቦታ እሱ ስለሆነ ነው። ግን እኛን ጠይቆን ቢሆን ኖሮ እንነግረው ነበር። መለየት ካለበት መስኮቱና የጎን በሩ ያሉበት የቀኙ ክፍል በሙሉ ይሰጠን።

ያልተከተብኩት፦
ስሜን ሳልጠቅስ መጻፌን ይቅር በሉኝ። እስካሁን አልተከተብኩም። ምክንያቴ የራሴ ነው፣ እዚህ አልዘረዝረውም። ግን ገመዱን በተመለከተ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እዚያ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ይታወቃል። ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ "ለምን አልተከተብክም?" የሚለኝ ሰው ስንት እንደሚሆን ይታየኛል። እኔ ማስክ ማድረግ አይከብደኝም። ሁሉም ሰው ካደረገ ማድረግ በጣም ቀላል ነው። ብቻዬን ተለይቼ ስታይበት ነው የሚከብደው። እንደኔ ያሉ ሰዎች ምን እንደሚያደርጉ ልንገራችሁ? ማስካቸውን አውልቀው መሀል ይቀመጣሉ። ገመዱ የሚያመጣው ይህንን ነው።

ሆሳዕና፦
እውነቱን በመናገርህ አመሰግንሃለሁ። ግን ተከተብ፣ ወንድሜ።

የእምድብር ልጅ፦
ያልተከተብኩት፣ ክርክሩን ያበራኸው አንተ ነህ። የቫቲካን የእምነት ትምህርት ጉባኤ ዲሴምበር 21 ቀን 2020 ያወጣውን ጽሑፍ እስቲ ሁላችሁም አንብቡት። ክትባት በፈቃድ መሆን አለበት ይላል። ይህን ብዙ ሰው ይጠቅሰዋል። ቀጥሎ ያለውን ግን የሚጠቅስ አላየሁም። በኅሊናው ምክንያት አልከተብም ያለ ሰው በሌላ መከላከያና በጥንቃቄ በሽታውን ላለማስተላለፍ የሚቻለውን ሁሉ የማድረግ ግዴታ አለበት። በተለይ በጤና ወይም በሌላ ምክንያት መከተብ የማይችሉትን አደጋ ላይ እንዳይጥል። ቤተክርስቲያናችን ነፃነቱንና ግዴታውን አንድ ላይ ነው የሰጠችው። ማስታወቂያው ነፃነቱን ብቻ ወሰደ፤ ግዴታውን ለገመዱ ተወው። ገመዱ ደግሞ፣ አሁን እንደሰማነው፣ ሰውን ወደ መደበቅ ይገፋል።

ሚላኖ፦
እኔ ሚላን 9 ዓመት ኖሬ ነው ወደዚህ የመጣሁት። እዚያ ሰው ስለ ቅዱስ ካርሎ ቦሮሜዎ ይተርካል። በ1576 ወረርሽኝ ሲገባ ሊቀ ጳጳሱ እሱ ነበር። ሰው ከቤቱ እንዳይወጣ ሲታዘዝ መስቀለኛ መንገዶች ላይ መንበር አስተከለ፣ ሰዉ በመስኮቱ አስቀደሰ። ቅዳሴው ወደ ሕዝቡ ሄደ። እኛ ትልቅ ፓርኪንግ አለን፣ ወሩም ሜይ ነው። ለምን ውጭ አንቀድስም? ማስክም፣ ገመድም፣ ክርክርም አያስፈልግም።

የድሮው መምህር፦
ልጄ፣ ሐሳቡ መልካም ነው። ግን ዘንድሮ ሲካዳ የሚባለው ጩኸታም ነፍሳት ከ17 ዓመት በኋላ ከመሬት የወጣበት ዓመት ነው። ፓርኪንጉ ዳር ያሉት ዛፎች ከአሁኑ መጮህ ጀምረዋል። በድምፅ ማጉያም ቢሆን እኔ አንድ ቃል አልሰማም።

ከበሮ መቺው፦
አባባ ልክ ናቸው። ደግሞ ከበሮውን ፀሐይ ያበላሸዋል፣ ቆዳው ይደርቃል። ጁን ላይ ሙቀቱን ታውቁታላችሁ። ለበዓል አንድ ቀን ይሆናል፤ ለየሳምንቱ አይሆንም።

ኤርፖርት ሹፌር፦
አውሮፕላንና አውቶቡስ ላይ ማስክ እስካሁን ግዴታ ነው። ሲዲሲ ራሱ እነሱን አላነሳም። ተጨናንቆ ረጅም ሰዓት የሚቀመጥ ሰው ለይቶ አይቷል ማለት ነው። የኛ ቅዳሴ ከሱፐርማርኬት ይልቅ ለአውቶቡስ ይቀርባል። ይኼው ነው የኔ ሐሳብ።

የእምድብር ልጅ፦
ረቡዕ ማታ የቁምስናው ምክር ቤት ይሰበሰባል። ደብዳቤውን እኔ እጽፋለሁ። የምንጠይቀው፦ ገመዱ ይነሳ። ሁለተኛ ቅዳሴ እስኪገኝ ወይም ለትንንሾቹ ክትባት እስኪፈቀድ፣ ከሁለቱ የቀደመው እስኪመጣ፣ በቅዳሴ ሰዓት ሁላችንም ማስክ እናድርግ። አባ ሲሰብኩ ያውልቁ። ስለ መድኃኒቱ ናይት ሺፍት የጻፈችው ቃል በቃል ይግባ። ቅዳሜ ማታ ለመቀደስ ሕንፃው ይገኝ እንደሆነ ላቲኖቹን እንጠይቅ። ከተገኘ አንዱን በማስክ፣ አንዱን ያለማስክ እናደርገዋለን። በየትኛውም መግባት ሙሉ ቅዳሴ ነው፣ ጥግ አይደለም። የምትፈርሙ ስማችሁን በውስጥ ላኩልኝ።

ሆሳዕና፦
በቅዳሜው ቅዳሴና በመድኃኒቱ ማሳሰቢያ እፈርማለሁ። በገመዱም እፈርማለሁ፤ ከዓምዱ ጀርባ መሆኑን አላወቅሁም ነበር። ማስኩ ላይ ግን አልፈርምም። "ክትባት እስኪፈቀድ" ማለት ቀን አይደለም። ኦገስት 1 ብለህ ጻፍና እፈርማለሁ።

የመንታ እናት፦
ኦገስት 1 ላይ ለልጆቼ ክትባት ባይመጣስ?

ሆሳዕና፦
ያኔ እንደገና ቁጭ ብለን እንነጋገራለን። እኔም እመጣለሁ። ግን ቀን ይኑረው።

የመንታ እናት፦
እሺ፣ ኦገስት 1 ይጻፍ። "በዚያ ቀን እንደገና ይታያል" ተብሎ እንጂ "ያበቃል" ተብሎ አይደለም። እንደዚያ ከሆነ እኔም እፈርማለሁ።

የእምድብር ልጅ፦
"ይታያል" ብዬ ጽፌዋለሁ። እስከ ረቡዕ 11 ሰዓት ስም እቀበላለሁ።