የእድር ስብሰባ በስልክ ይሁን ወይስ በአዳራሽ? (ክርክር ከደብረ ማርቆስ፣ በእድሩ የቴሌግራም ግሩፕ)

ጸሐፊው፦
ባለፈው እሑድ ስብሰባ ጠርተን ነበር። ከ140 አባወራና እማወራ የመጣው 38 ነው። ምልዓተ ጉባኤ ስላልሞላ ሻይ ጠጥተን ተበተንን። እንዲህ ሲሆን ይህ ሦስተኛው ነው። አጀንዳው ደግሞ የሚናቅ አይደለም። ወርሃዊ መዋጮው ከ50 ወደ 100 ብር ከፍ ይበል ወይስ ባለበት ይቆይ የሚል ነው። ድንኳኑ ተቀዷል፣ ወንበሩ ተሰባብሯል። ስለዚህ ሐሳብ ላቅርብ። ስብሰባውን በቴሌግራም እናድርገው። በድምፅ እንነጋገር፣ እዚያው ድምፅ እንስጥ፣ እንጨርስ። ተቃውሞ ያለው እዚሁ ይጻፍ። ስድብ ግን የለም። (አምና የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን።)

የአብማው፦
እኔ እስማማለሁ። የአባሉ እኩሌታ ልጁ ጋ አዲስ አበባ ነው፣ ሌላው ባሕር ዳር። እኔ ራሴ በወር ሁለት ሳምንት መንገድ ላይ ነኝ። ለቅሶ ከሆነ እሺ፣ ለስብሰባ ብሎ ማን የአባይን በረሃ ወርዶ ይወጣል?

ጡረተኛው መምህር፦
ልጆቼ፣ እኔ ቴሌግራም አልጠላም። ይኸው እየጻፍኩ ነው፣ በአንድ ጣት ቢሆንም። ግን እድር ስብሰባ የሚቀመጠው ለመወሰን ብቻ ነው እንዴ? ማን ከሳ፣ ማን ዱላ መያዝ ጀመረ፣ ማን ቀረ፣ ይህን ሁሉ የምናየው እዚያ ነው። ከበሩ አጠገብ ያለችው አግዳሚ ላይ ሁልጊዜ የሚቀመጡትን ጎረቤታችንን ታስታውሳላችሁ። አንድ ቀን ቦታቸው ባዶ ነበር። «ምን ሆነው ነው?» ተባባልን። ስንሄድ ሦስት ቀን ሙሉ ከአልጋ አልተነሱም፣ ውሃ የሚያቀብላቸውም አልነበረም። በቴሌግራም ቢሆን ዝም ያለውና የታመመው በምን ይለያል?

ደጀን ጫፍ፦
ጋሼ ልክ ናቸው።

ኮምፒውተር ጠጋኙ፦
ጋሼ፣ እርስዎን ማረም ሆኖብኝ ሳይሆን አንድ ነገር ልጨምር። ተራርቆ በኮምፒውተር አብሮ መሥራት ትናንት የመጣ ወረት አይደለም። ዳግላስ ኤንግልባርት የሚባል አሜሪካዊ በ1968 ዓ.ም. (የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ሕዝብ ፊት ቆሞ አሳይቶታል። እሱ አዳራሽ ውስጥ ነው፣ የሥራ ባልደረባው ሌላ ከተማ። ሁለቱም አንድ ጽሑፍ ላይ እየሠሩ፣ ፊታቸው ስክሪኑ ላይ ይታይ ነበር። የኮምፒውተር ማውስንም ሕዝብ ያየው ያን ቀን ነው። በ1984 ደግሞ አይሪን ግሪፍና ፖል ካሽማን ለዘርፉ ስም አወጡለት፣ «በኮምፒውተር የተደገፈ የጋራ ሥራ» እንደማለት ነው።

ለእኛ የሚጠቅመን ግን ሌላው ነው። በ1987 ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች፣ ዲልና ሽትሮበ፣ ሰው ተሰብስቦ ሐሳብ ሲያዋጣና ለየብቻ ተቀምጦ ሲያስብ አወዳደሩ። የተሰበሰቡት ያመጡት ሐሳብ አነሰ። ምክንያቱን ሲፈልጉ ዋናው ተራ መጠበቅ ሆኖ አገኙት። አንዱ ሲናገር ሌላው ይጠብቃል፣ ሲጠብቅ ያሰበው ይጠፋዋል። የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ደግሞ በዚያው ዘመን ለእያንዳንዱ ተሰብሳቢ ኮምፒውተር የተቀመጠበት አዳራሽ ሠሩ። ሁሉም በአንዴ ይጽፋል። የጻፈው ሐሳብ ለሁሉም ይታያል፣ የጸሐፊው ስም ግን አይታይም።

አሁን የእኛን አዳራሽ አስቡት። ተራ የሚደርሰው ማን ነው? ድምፁ የጎላ፣ ዕድሜው የገፋ፣ ከፊት የተቀመጠ። እኔ ስድስት ዓመት አባል ነኝ፣ እጄን አንስቼ አንዴም አልተሰጠኝም።

ገንዘብ ያዧ፦
አንተ ስድስት ዓመት ትላለህ። እኔ ገንዘብ ያዥ ከሆንኩ ስምንት ዓመቴ ነው። ሂሳብ ከማንበብ ውጭ የተናገርኩት ቢቆጠር አንድ እጅ አይሞላም። ስብሰባ ሲያልቅ ሴቶቹ ጓዳዬ ይመጣሉ። «መቶ ብር ይከብደናል» ይላሉ። «ታዲያ ለምን እዚያ አልተናገርሽም?» ስል «ባለቤቴ እኮ ይሁን ብሏል» ይሉኛል። ስለዚህ ስም ሳይታይ መጻፍ ቢቻል ብዙ ነገር ይወጣ ነበር፣ አልዋሽም።

ግን ሌላውንም ልንገራችሁ። መዋጮ በቴሌብር ይሁን ስትሉ አጨበጨባችሁ። ለእናንተ ቀለለ። ለእኔስ? ድሮ ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ጠረጴዛ ይወጣል፣ ሰው ይከፍላል፣ ደረሰኝ ይቆረጣል፣ አለቀ። አሁን ከሌሊቱ 6 ሰዓት የስክሪን ፎቶ ይላክልኛል። ባለፈው ወር አንዱ የላከው በወንድሙ ልጅ ስም የተከፈለ ነው፣ የማን እንደሆነ እስክደርስበት ሁለት ቀን ፈጀ። ሌላው የአምናውን ፎቶ ደግሞ ላከልኝ። በስህተት ነው ብያለሁ። ሁሉንም በእጄ መዝገብ ላይ እገለብጣለሁ። መነጽሬን ያስቀየረኝ ይኸው ነው።

የአብማው፦
እትዬ፣ በስህተት የላኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ።

ገንዘብ ያዧ፦
አውቃለሁ።

ኮምፒውተር ጠጋኙ፦
እትዬ ያሉት ነገር ራሱ በምርምር የተጻፈ ነው። ጆናታን ግሩዲን የሚባል ሰው በ1988 የጋራ ሥራ ፕሮግራሞች ለምን ይከሽፋሉ ብሎ ጽፏል። አንዱ ምክንያት፣ ድካሙ የአንዱ ጥቅሙ የሌላው ሲሆን ነው። ምሳሌው የመሥሪያ ቤት ቀጠሮ መያዣ ነው። አለቃው ስብሰባ መጥራት እንዲቀለው ሠራተኛው ሁሉ የየቀኑን ፕሮግራም ማስገባት አለበት። ሠራተኛው ለምን ይለፋ? አያስገባም። ፕሮግራሙም ይሞታል። እኛም ቴሌግራም ካልን በኋላ ያ ሁሉ ድምፅና መልእክት ተሰምቶ ቃለ ጉባኤ የሚጽፈው ማን እንደሆነ አልተነጋገርንም።

ጸሐፊው፦
እኔ ነኝ እንግዲህ። ስብሰባ ሁለት ሰዓት ነው፣ አንድ ገጽ ተኩል ይወጣዋል። ይህ ክርክር ግን ከትናንት ጀምሮ እየተጻፈ ነው። ወደ መዝገብ ሳዛውረው እንዴት እንደምሆን እግዜር ይወቅ።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
እስካሁን ማንም ያላነሳው ነገር አለ። ጎጃሜ ነን እኮ! ሰምና ወርቅ በጽሑፍ እንዴት ይነገራል? በአዳራሽ ተናጋሪው ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ፣ በጎን ሲመለከት፣ ወርቁ የት እንዳለ ይገባሃል። ባለፈው ጥር ለቅሶ ላይ የድንኳኑን ቀዳዳ አይቼ እዚህ ላይ «ይህ ድንኳን ወደ ሰማይ እንድናይ ያደርገናል» ብዬ ጻፍኩ። አሥራ አንድ ሰው «አሜን» አለ። አንዲት እናት ልብ የሚነካ ጸሎት ጻፉ። ኮሚቴውም «ድንኳኑ በጥሩ ሁኔታ ላይ መሆኑ በአባላት ተገልጿል» ብሎ መዘገበ። ቃለ ጉባኤውን ግለጡት፣ አለ።

ጸሐፊው፦
አለ። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ምርቃት መስሎኝ።

ደጀን ጫፍ፦
ቀልዱን ተዉትና የ2015ን ክረምት አስታውሱ። ዳታ ተዘጋ። ነገ ይለቀቃል ስንል ወራት አለፉ። ሞት ግን አልተዘጋም። ያኔ ማን ጠራን? ጥሩምባ ነፊው! ሌሊት 11 ሰዓት በየሰፈሩ እየዞረ «እገሌ አርፏል» ይል ነበር። መዝገባችን በወረቀት ባይሆን ኖሮ ማን ከፈለ፣ ማን አልከፈለም የሚለው እንኳ አይታወቅም ነበር። ነገም ላለመዘጋቱ ዋስትና የሚሰጠኝ ካለ እዚሁ ይፈርም።

የውጭው ልጅ፦
ጤና ይስጥልኝ። ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። እናቴ ማርቆስ አሉ፣ አባልነቱ የሳቸው ነው፣ መዋጮውን ግን እኔ ነኝ የምልከው። ስብሰባው በቴሌግራም ይሁን። በዙም ቢሆን ደግሞ ይበልጣል፣ ፊት ለፊት እንተያያለን። እኔም ድምፅ መስጠት እፈልጋለሁ። እኔ መቶ ብር ይሁን ባይ ነኝ።

ገንዘብ ያዧ፦
እናትህ ትናንት ቡና ላይ ሃምሳ ይበቃል ብለውኛል።

የአብማው፦
ዙም በነፃው 40 ደቂቃ ነው የሚሰጠው፣ ከዚያ ይቆርጣል። በ40 ደቂቃ እኛ ሰላምታ አንጨርስም። የቪዲዮውን ዳታስ ማን ይችለዋል?

ኮምፒውተር ጠጋኙ፦
የእናትና የልጁ ጉዳይ ትልቅ ነገር አነሳ። በመተዳደሪያ ደንባችን አንድ ቤት አንድ ድምፅ ነው። ቴሌግራም ቤት አያውቅም። እሱ የሚቆጥረው አካውንት ነው። ባል አንድ፣ ሚስት አንድ፣ ልጅ አንድ። ሁለት ሲም ያለው ደግሞ ሁለት አካውንት ከፍቶ ሁለቴ ይመርጣል። ልብ በሉ፣ ስም ተደብቆ የተመረጠ ከሆነ ማን ሁለቴ እንደመረጠ አይታወቅም። ስም ይታይ ካልን ደግሞ እትዬ ያሏቸው ሴቶች ባላቸው እያየ እንዴት የልባቸውን ይመርጣሉ? ስለዚህ እኔ ክርክሩን ስልክ ወይስ አዳራሽ አልለውም። ሐሳብ መስጠትና ድምፅ መስጠት ይለዩ። ሐሳቡ እዚህ ሳምንት ሙሉ ይብላላ፣ ስሙ እንዲታይ የማይፈልግ ለአንድ ሰው በውስጥ ይላክና ያ ሰው ስም ሳይጠራ ይለጥፈው። ድምፁ ግን በአዳራሽ፣ በመዝገብ፣ ቤት በቤት እየተጠራ።

ጡረተኛው መምህር፦
ይህን ብትለኝ ኖሮ ከትናንት ጀምሬ በአንድ ጣት ባልደከምኩ። እስማማለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይጨመር። እዚህ የሌሉ አሉ። ቆጥሬያለሁ፣ እኛ ሰፈር ብቻ ዘጠኝ ሰው ያለው ተራ ስልክ ነው። እነሱ ሳምንቱን ሙሉ የተባለውን ሳይሰሙ እሑድ መጥተው እጅ አውጡ ቢባሉ፣ ባልበሉት ዕዳ መክፈል ነው። ጥሩምባ ነፊው ቅዳሜ ማታ ሲዞር አጀንዳውንም ይናገር።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
ጋሼ፣ ጥሩምባ ሲነፋ ሰው የሞተ መስሎት ይደነግጣል እኮ። መጀመሪያ «ማንም አልሞተም» ይበል!

ጸሐፊው፦
ይበቃናል። እኔ በቴሌግራም እንጨርሰው ብዬ ነበር፣ ትቼዋለሁ። እስከ ቅዳሜ ማታ ሐሳብ እዚህ ይጻፍ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ። ከከተማ ውጭ ያላችሁ በስልክ ትደውላላችሁ፣ ስፒከር እናደርጋለን፣ ትሰማላችሁ ትናገራላችሁ። ድምፅ ግን ደንቡ እንደሚለው በቤት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለኸው፣ ከእናትህ ጋር ቀድማችሁ ተስማሙ።

ገንዘብ ያዧ፦
የሚደወለውን ስልክ የሚያነሳው ማን ነው? እኔ አይደለሁም።

ጸሐፊው፦
እሺ እትዬ፣ እኔ አነሳለሁ። ቃለ ጉባኤውን ታዲያ ሌላ ሰው ይያዝልኝ። የአብማው፣ አንተ ትጽፋለህ።

የአብማው፦
እኔ እሑድ መንገድ ላይ ነኝ።