የግብር ተመላሼ የት እንደደረሰ በምን ልወቅ?

ሰላም ወገኖቼ፤ የግብር ነገር የገባችሁ ካላችሁ እባካችሁ እርዱኝ። ደሴ ውስጥ የጽሕፈት መሣሪያ እሸጣለሁ፣ ደረጃ ሀ ግብር ከፋይ ነኝ። በ2016 በጀት ዓመት አብዛኛው ሽያጬ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ስለነበር፣ ከ10,000 ብር በላይ በሆነው ግዢ ሁሉ 2 በመቶ ዊዝሆልዲንግ (ገዢው ከክፍያው ላይ ቀድሞ ቆርጦ ለመንግሥት የሚያስገባው ግብር) ተቆርጦብኛል። ትርፉ ደግሞ ትንሽ ነበር፤ ዓመቱ ወሎ ላይ ለነጋዴ የሚመች አልነበረም። ጥቅምት 30 ሳያልፍ ሂሳቤን ሳስታውቅ፣ ቀድሞ የተቆረጠው ከሚፈለግብኝ ግብር በልጦ ተገኘ። ደረሰኞቹን አያይዤ ተመላሽ እንዲደረግልኝ በጽሑፍ አመለከትኩ።

ከዚያ ወዲህ የፋይሉ ደብዛ ጠፋ። መዝገብ ቤት "ወደ ኦዲት ተመርቷል" ይላል፤ ኦዲት ደግሞ "እኛ ጋ አልደረሰም"። አንዱ ባለሙያ "ለሚቀጥለው ዓመት ይዙርልህ" አለኝ። ከኮምቦልቻ ወረቀት በዱቤ የሰጠኝ ሰውዬ ግን ለሚቀጥለው ዓመት አያዞርልኝም!

እና ማመልከቻው ያለበትን ደረጃ በቲን (የግብር ከፋይ መለያ) ቁጥሬ ኦንላይን ማየት ይቻላል ወይስ የግድ በአካል ነው? ሌላ የግብር ዕዳ ካለ ከተመላሹ ላይ እንደሚቻቻል አውቃለሁ፤ ዕዳ ግን የለብኝም፣ ክሊራንስም (ከዕዳ ነፃ መሆኔን የሚያሳይ ማስረጃ) አለኝ። የቆረጠው መሥሪያ ቤት ገንዘቡን በስሜ ገቢ ካላደረገ ይዘገያል የሚሉኝም አሉ፤ ይሄን እንዴት ላጣራ? ቅሬታ ሰሚ ጋ ከመሄዴ በፊት ለቅርንጫፉ ኃላፊ ደብዳቤ ልጽፍ አስቤያለሁ። ምን ምን ብጠቅስበት ይሻላል? በዚህ ያለፈ ሰው ካለ ይምከረኝ።